ለባቡር የወጣው ገንዘብና ለተጎዱት የተባለው ገንዘብ

በቤር ሼቫ ለወላጆችና ለአረጋውያን የተደረገ ንግግር

እኛ በዚህ ከተማ በጤና ሥራ ላይ ያለን፣ በሐኪምና በቤተሰብ መካከል በማስተርጎምና በማገናኘት የምናገለግል ነን። ባለፈው ጊዜ ስለ ስኳር በሽታና ስለ ደም ግፊት ተነጋግረን ነበር። የዛሬው ርዕስ ከዚያ ይከብዳል፤ በቤት ውስጥ ስለሚደርስ ድብደባና በደል፣ እንዲሁም መንግሥት ለተጎዱት እሰጣለሁ ብሎ ስለወሰነው እርዳታ ነው። ነገሩን ግን ከባቡር እንጀምራለን። ምክንያቱን እየቆየን እንነግራችኋለን።

ብዙዎቻችን ጎንደር ሳለን ባቡር በዓይናችን አላየንም፤ ዛሬም ጎንደር ባቡር የለም። ቤር ሼቫ ግን ቱርኮች በ1915 በጦርነቱ ጊዜ ያስገቡት የባቡር መስመር የነበረባት ከተማ ናት፤ የድሮው ጣቢያ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። አሁን ልጆቻችን ለሥራ ወደ ቴል አቪቭ፣ ወታደሮቻችን ወደ ሠፈራቸው የሚመላለሱት በባቡር ነው። ስለዚህ የባቡር ጉዳይ የእኛም ጉዳይ ነው። ጁን 21 ቀን 2005 በቴል አቪቭና በቤር ሼቫ መስመር ላይ፣ ኪቡጽ ሬቫዲም አጠገብ፣ ባቡር ከከባድ መኪና ጋር ተጋጭቶ 8 ሰዎች ሞቱ፤ ወደ 200 የሚጠጉ ቆሰሉ። በዚያን ዕለት ስንት እናት ስልክ ይዛ እንደተጨነቀች የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ጠየቀ፤ መኪናና ባቡር የሚሻገሩበት ቦታ ለምን ድልድይ አልተሠራለትም? ስንት ቦታስ ቀርቷል? መንግሥትም መልስ መስጠት ነበረበት። መስመራችንም በ2012 ሁለት ሐዲድ ሆኖ ተጠናቀቀ።

የኢየሩሳሌምን ፈጣን ባቡርም ተመልከቱ። መንግሥት ሥራውን በ2001 አጸደቀ፤ በ2008 ይጠናቀቃል ተባለ። ተሳፋሪ መጫን የጀመረው ግን በሴፕቴምበር 2018 ነው፤ ያውም እስከ ቤን ጉርዮን አውሮፕላን ማረፊያ ብቻ። ቴል አቪቭ የደረሰው በዲሴምበር 2019 ነው። ወጪው 7 ቢሊዮን ሸቀል ገደማ ሆነ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ጋዜጠኛው ጻፈ፣ የክኔሴት አባላት ሚኒስትሩን ጠየቁ፣ ተሳፋሪውም ጮኸ። ሕዝብ እንዲህ መጠየቁ መልካም ነገር ነው።

አሁን ወደ ርዕሳችን እንመለስ። በ2017 መንግሥት በቤተሰብ ውስጥ የሚደርሰውን ጥቃት ለመከላከልና የተጎዱትን ለመርዳት አንድ ዕቅድ አጸደቀ። ገንዘቡ በ5 ዓመት 250 ሚሊዮን ሸቀል፣ በየዓመቱ 50 ሚሊዮን ማለት ነው። በ2018 መጨረሻ አብዛኛው ገንዘብ እንዳልተለቀቀ ታወቀ። በዚያው ኅዳር ሁለት ልጃገረዶች ተገደሉ፤ አንዷ ከኤርትራ በስደት ከመጣ ቤተሰብ የተወለደች ነበረች። ዲሴምበር 4 ቀን 2018 ሴቶች በመላው አገሪቱ ሥራ አቁመው ወጡ። ቴል አቪቭ ሀቢማ አደባባይ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ 200 ጥንድ ጫማ ተደረደረ፤ ጫማው ባዶ ነው፣ የሚጫማው ሰው የለም። የጠየቁት አዲስ ገንዘብ አልነበረም። አስቀድሞ የተወሰነው ይሰጠን ነው ያሉት። ከሰልፉ በኋላም ይኸው ጥያቄ ለዓመታት ቀጠለ።

እንግዲህ አስሉት። ለባቡሩ የወጣው ገንዘብ ይህን ዕቅድ 28 ጊዜ ይሸፍነው ነበር። ይህን ስንል ባቡሩ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም፤ እኛም እንሳፈርበታለን። ልዩነቱን እንድታዩልን ነው። ባቡር ሲዘገይ ተሳፋሪው ጣቢያው ላይ ቆሞ ይጮኻል፤ ያልተጠናቀቀ ድልድይም ከሩቅ ይታያል። የተደበደበች ሴት ግን እርዳታው ሲዘገይባት ማን ያያታል? እሷ ራሷ ደብቃዋለች። ሻሿን ዝቅ አድርጋ ታስራለች፣ ሥራ ቦታ አሞኛል ትላለች። የተነካ ልጅም እንዲሁ ነው፤ አልጋ ላይ መሽናት ይጀምራል፣ ከትምህርት ወደኋላ ይቀራል፣ ሆዴን አመመኝ እያለ በየሳምንቱ ኩፓት ሆሊም ይመላለሳል፤ ምርመራው ግን ምንም አያሳይም። የሚጠይቅ ስለሌለ ገንዘቡ ቢቀር ማንም አያውቅም።

ከዓመታት በፊት በአንድ ክሊኒክ የሆነውን እንንገራችሁ። አንዲት እናት እጇ አብጦ መጣች። አስተርጓሚ አልተጠራላትም፤ አብሯት የመጣው የ11 ዓመት ልጇ ነበር። ሐኪሟ፣ «ቤት ውስጥ የሚመታሽ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች። ልጁ ጥያቄውን ወደ አማርኛ አልመለሰውም። ራሱ በዕብራይስጥ፣ «ደረጃ ላይ ወድቃ ነው» አለ። ሐኪሟ ጻፈች፣ መድኃኒት ሰጠች፣ አሰናበተች። እናትየዋ ምን እንደተጠየቀች እንኳ አላወቀችም። ልጁን አንወቅሰውም፤ አባቱንም እናቱንም እኩል ሊያድን የሞከረ ልጅ ነው። ግን ያንን ሸክም ለምን እሱ ይሸከም? የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ ኩፓት ሆሊሞችና ሆስፒታሎች በሕመምተኛው ቋንቋ አገልግሎት እንዲያመቻቹ ታዘዋል። አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም። እባካችሁ ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ።

ለሽማግሌዎቻችን አንድ ነገር በድፍረት እንናገራለን፤ ይቅር በሉን። ሽምግልና ትልቅ ሀብታችን ነው። በአገር ቤት የተበደለች ሴት ተነሥታ ወደ አባቷ ቤት ትሄድ ነበር። ወንድሞቿ አሉ፣ ዘመዶቿ በዙሪያዋ ናቸው፤ ሽማግሌ የሚታረቀውን ባል መክሮ፣ ዋስ አስጠርቶ፣ ከዚያ ነው የሚመልሳት። እዚህ ግን አራተኛ ፎቅ ላይ በር ተዘግቶ የሚሆነውን ማን ይሰማል? ወንድሟ ሃይፋ ነው፣ አባቷ ምናልባት አርፈዋል። ስለዚህ በአገር ቤት የሚያድነው ዕርቅ እዚህ ሊገድል ይችላል። ከቁጥራችን ጋር ሲነጻጸር በባሎቻቸው እጅ የሞቱ የማኅበረሰባችን ሴቶች ብዙ ናቸው። አባቶችም እዚህ አገር ብዙ ነገር እንዳጡ፣ ክብራቸውና ሥራቸው እንደተነካ እናውቃለን። ለዚህም እርዳታ አለ፤ ለሚመታ ወንድም ሕክምናና ምክር ይሰጣል። ቢላዋ ያነሣን ወይም እገድልሻለሁ ያለን ሰው ግን በሽምግልና ብቻ አትያዙት።

በልጅ ላይ ከሆነማ ምርጫም የለንም። በ1989 የወጣው ሕግ፣ አንድ ልጅ በወላጁ ወይም በአሳዳጊው እንደተጎዳ የሚያምን ማንኛውም ሰው ወዲያውኑ ለሬቫሃ የማኅበራዊ ሠራተኛ ወይም ለፖሊስ ማስታወቅ አለበት ይላል። ዝም ያለ ሊታሰር ይችላል። ሽማግሌም፣ ቄስም፣ ጎረቤትም፣ እኛም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለንም። የወሲብ በደል የደረሰበት ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅ ደግሞ የሚጠየቀው ለዚሁ በሠለጠነ የልጆች መርማሪ ነው። እናንተ ቤት ውስጥ ደጋግማችሁ አትመርምሩት፤ «አንተ አላጠፋህም» በሉትና አስታውቁ።

ለሴቶቹ ያለውን መብት ባጭሩ እንንገራችሁ። በ1991ዱ ሕግ መሠረት ፍርድ ቤት የሚመታውን ሰው ከቤት እንዲርቅ ማዘዝ ይችላል፤ በመጀመሪያ እስከ 3 ወር፣ ከዚያም ሊራዘም ይችላል። ሴትዮዋ ከልጆቿ ጋር የምትጠለልበት ሚቅላት አለ። ሚቅላት በገባችበት ጊዜ እስከ 6 ወር ድረስ አሠሪዋ ከሥራ ሊያባርራት አይችልም፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ከባድ የወሲብ ጥቃት የደረሰባት ሴት ገቢዋ ሳይጠየቅ ከፍትሕ ሚኒስቴር ያለ ክፍያ ጠበቃ ይመደብላታል። በከተማችን ደግሞ ማስላን የሚባለው የኔጌቭ ሴቶች ድጋፍ ማዕከል አለ። ስልኮቹን ጻፉ፦ ለሬቫሃ 118፣ የወሲብ ጥቃት ለደረሰባት ሴት 1202፣ ለወንድ 1203፣ ሕይወት ለሚያሰጋ ነገር ፖሊስ 100።

ታዲያ ስልኩ ቢኖርም፣ ሴትዮዋ ደውላ በአማርኛ የሚሰማት ባታገኝ፣ ወይም ሬቫሃ ቢሮ ሄዳ ቀጠሮ ከወራት በኋላ ቢሰጣትስ? እዚህ ላይ ነው ስለ ባቡር የተናገርነው የሚጠቅመን። የባቡሩን ወጪ የሚመረምረው የመንግሥት ተቆጣጣሪ፣ ሜቫኬር ሃሜዲና የምንለው፣ ከ1971 ጀምሮ የሕዝብ አቤቱታ ሰሚም ነው። ሚኒስቴሩንም ዒሪያውንም በአንድ ዓይን ያያል። አቤቱታ ማቅረብ ገንዘብ አያስከፍልም፤ መጻፍ የማይችል ቢሮው ድረስ ሄዶ በቃሉ መናገር ይችላል። ነገሩ ከሆነ ከአንድ ዓመት በላይ ካለፈ ግን ብዙውን ጊዜ አይመረምሩትም፤ ፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይም አይቀበሉም። ስለዚህ አትቆዩ። በ1998 የወጣው የመረጃ ነፃነት ሕግም ማንኛውም ዜጋ መሥሪያ ቤትን፣ «ይህን ያህል ገንዘብ ተመድቦ ነበር፤ ምን ላይ ዋለ?» ብሎ በጽሑፍ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት፤ ከዘገየም በምክንያት ነው።

እኛ አንድ ደብዳቤ አዘጋጅተናል። ለዒሪያው የሬቫሃ ክፍል የሚላክ ነው። የሚጠይቀው ጥቂት ነገር ነው፦ በከተማችን አማርኛ የሚናገሩ ስንት የማኅበራዊ ሠራተኞች በዚህ ሥራ ላይ አሉ? አንዲት ሴት ከደወለች በኋላ በስንት ቀን ትታያለች? ለቤተሰብ ጥቃት የተመደበው ገንዘብ ባለፈው ዓመት ስንቱ ወጣ? ደብዳቤው በአማርኛም በዕብራይስጥም ተጽፏል። የእናንተ የሽማግሌዎች ፊርማ ከእኛ ፊርማ ይልቅ ይከበራል፤ ስለዚህ አንብባችሁ ወይም አስነብባችሁ ከተስማማችሁ ፈርሙልን። መልስ ሲመጣ በዚሁ መጽሔት እናወጣዋለን፤ ካልመጣም አልመጣም ብለን እናወጣለን።

አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቅ። በሰው ፊት መናገር የማይመቸው ደግሞ፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ከባልደረቦቻችን አንዲት ሴትና አንድ ወንድ በጎን ባሉት ሁለት ክፍሎች ለየብቻ ይቀመጣሉ።