ሥር አልባው ምስክር፦ ሞስን በአቃቂ ቃሊቲ ስለ ማብቀልና ስለ መንከባከብ



የዛሬው ንግግሬ ስለ ሞስ ነው። በሕዝባችን አነጋገር «የድንጋይ ሽበት» የሚለው ስም ሞስንም ላይከንንም አንድ ላይ ይይዛል። ለዕለት ተዕለት ኑሮ ይህ በቂ ነው፤ ለዛሬው ጉዳያችን ግን ሁለቱን መለየት ግድ ይላል። ላይከን የፈንገስና የዋቅላሚ ጥምረት ሲሆን ሞስ ግን ግንድ መሰልና ቅጠል መሰል አካል ያለው፣ አበባና ዘር የሌለው፣ በስፖር የሚራባ እውነተኛ ዕፅ ነው። እኔ የምናገረው ስለ ሁለተኛው ነው።

በፋብሪካ፣ በከባድ መኪናና በአቧራ በሚታወቅ ክፍለ ከተማ ስለዚህ ለዓይን እንኳ ስለማይሞላ ዕፅ መናገር ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ይኖራል። መልሴ የሚጀምረው ከአትክልት ማሳ ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከተማዋን አቋርጠው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ሲወርዱ በዳርቻቸው ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ይለማል። በአዲስ አበባ በሚመረቱ ቅጠላ ቅጠል አትክልቶች ውስጥ ስላሉ ብረቶች ፍስሐ ኢታና እ.ኤ.አ. በ2002 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ላይ ካሳተሙት ጽሑፍ ወዲህ ጉዳዩ በተደጋጋሚ ተጠንቷል። ውይይቱ በተነሣ ቁጥር ክሱ የሚወድቀው በወንዙ ላይ ነው፤ ቀጥሎም ከወንዙ በሚያጠጣው ገበሬ ላይ።

ወንዙ ንጹሕ ነው አልልም። ነገር ግን ብረት ወደ ቆስጣ ቅጠል የሚደርስበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። ከመስኖው ውሃ በአፈርና በሥር በኩል ሊገባ ይችላል፤ ከአየር ወርዶ በቅጠሉ ላይ ሊያርፍም ይችላል። በቤተ ሙከራ የተፈጨ ቅጠል የሁለቱን ድምር እንጂ ድርሻቸውን አይናገርም። ከአየር የሚወርደው ድርሻ ከፍተኛ ከሆነ ገበሬውን «ውሃህን ቀይር» ማለት የችግሩን ግማሽ መተው ነው። ይህ ብቻም አይደለም፤ ያንን አየር የሚተነፍሰው ሕዝብ ቆስጣውን ባይበላ እንኳ ከጉዳቱ አያመልጥም። ስለዚህ ከአየር የሚወርደውን ለብቻው የሚመዘግብ ነገር ያስፈልገናል።

ሞስ ለዚህ የተመቸው በድህነቱ ነው ማለት ይቻላል። እውነተኛ ሥር የለውም፤ ራይዞይድ የሚባሉት ቀጫጭን ክሮች በዋናነት ከድንጋዩ ጋር ያያይዙታል እንጂ እንደ ዛፍ ሥር ከጥልቅ አይመግቡትም። ቅጠሉ በአብዛኛው የአንድ ሕዋስ ውፍረት ብቻ ያለው ሲሆን ውሃ የሚከለክለው የሰም ልባስም እጅግ ሳሳ ያለ ነው። ስለዚህ የሚጠጣውም የሚመገበውም ከዝናብ፣ ከጤዛና በላዩ ከሚያርፈው ብናኝ ነው። በሕዋሱ ግድግዳ ላይ ያሉት አሉታዊ ሙል የያዙ ቦታዎች የብረት አዮኖችን ይይዛሉ፤ የያዙትንም በቀላሉ አይለቁም።

ይህን ጠባይ ለመለኪያነት ያዋሉት የስዊድን ተመራማሪዎች ኦከ ሩህሊንግና ጌርሙንድ ቲለር ሲሆኑ ጊዜውም የ1960ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ነበር። ጉድማንና ሮበርትስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 በዌልስ፣ በስዋንሲ አካባቢ፣ ሞስን በመረብ ከረጢት ሞልተው ብረት ማቅለጫዎች ባሉበት ሥፍራ በመስቀል አሠራሩን አንድ እርምጃ ወደፊት ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲህ ሞስ በተፈጥሮ በማይበቅልበት ቦታ እንኳ መለካት ተቻለ። ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ በአሜሪካ በፖርትላንድ ከተማ ከ346 ሥፍራዎች ከዛፍ ላይ የተለቀመ ሞስ ሲመረመር ካድሚየም በባለቀለም መስታወት ፋብሪካዎች አካባቢ ጎልቶ ታየ። የመስተዳድሩ የአየር መለኪያ ወደዚያ የተተከለው ሞሱ ከጠቆመ በኋላ ነው። ውድ መሣሪያ የት መቆም እንዳለበት ርካሽ ዕፅ አመለከተ ማለት ነው። በጀቱ ለጥቂት መሣሪያ ብቻ በሚበቃበት አገር ከዚህ የተሻለ የሥራ ክፍፍል አይታየኝም።

ሞሱ ከየት ይምጣ? ወደ መናገሻ ሱባ ወይም ወደ ደቡብ ምዕራቡ ደን ሄዶ በጆንያ መሰብሰብ ቀላል ይመስላል። እኔ ይህን አልደግፍም። የአገራችን ሞስ ገና በቅጡ ያልተመዘገበ ሀብት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1837 ጀምሮ በአገራችን ኖሮ በ1878 በዓድዋ ያረፈው ጀርመናዊው ጌዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር ብዙ ዕፅዋት ሰብስቦ ወደ አውሮፓ ልኳል፤ የአጎቱ ልጅ የስትራስቡርጉ ሺምፐር በዘመኑ ከታወቁት የሞስ ሊቃውንት አንዱ መሆኑ የታሪክ ግጥምጥሞሽ ነው። ሆኖም በ2009 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው ስምንት ቅጽ የኢትዮጵያና ኤርትራ የዕፅዋት መድበል ፈርንን፣ ጽድንና አበባ ያላቸውን ሲይዝ ሞስን አልጨመረም። በቅርቡ ዘመን ክሪስቶፈር ሂላንደርና ስለሺ ነሞምሳ በደቡብ ምዕራብ የቡና አካባቢ በዛፍ ላይ በሚኖሩ ሞሶችና ፈርኖች ላይ የሠሩት ሥራ ምን ያህል ሀብት በዛፍ ቅርፊት ላይ እንዳለ አሳይቷል። ስሙን ሳናውቀው ለቅመን ማቃጠል የለብንም። ሌላም ምክንያት አለ፦ ከደን የተለቀመ ሞስ ቀድሞ የያዘው ብረት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ መነሻው አንድ አይሆንም። በእጃችን ያበቀልነው ግን መነሻው ይታወቃል።

ለአቃቂ የምመርጠው ብራዩም አርጀንቲየም የተባለውን ነው፤ ከዚህ በኋላ «ብርማ ሞስ» እለዋለሁ። የቅጠሎቹ ጫፍ አረንጓዴ ቀለም ስለሌለው ሲደርቅ እንደ ብር ያብለጨልጫል። ከአንታርክቲካ ጭምር የተመዘገበ የዓለም ሁሉ ነዋሪ ነው። በኮብልስቶን ስንጥቅ መካከል፣ ጫማ በሚረግጠው ቦታ የሚኖር ዝርያ ነው፤ ፀሐይንም ድርቅንም ይታገሣል። የዕፅዋት ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ፉናሪያ ሃይግሮሜትሪካም አማራጭ ነበር። በጃፓን የሪከን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት የዚህ ሞስ ፕሮቶኔማ፣ ማለትም ከስፖር የሚወጣው የመጀመሪያ አረንጓዴ ክር፣ ከደረቅ ክብደቱ እስከ 74 በመቶ የሚደርስ እርሳስ መያዝ ችሏል። ነገር ግን ፉናሪያ በተቃጠለ መሬት ላይ ፈጥኖ የሚመጣና ፈጥኖ የሚሄድ ነው፤ ለዓመት ሥራ አይታመንም።

ብርማ ሞስን ለማብቀል ስፖር መጠበቅ አያስፈልግም። የቅርንጫፎቹ ጫፍ በቀላሉ እየተቆረጠ አዲስ ተክል ይሆናል። በጣት ጫፍ የሚያዝ ያህል ብቻ ይወሰድ፤ አፈሩ በጥንቃቄ ታጥቦ ይውጣ፤ በጥላ ደርቆ በእጅ ይፈርፈር፤ ፍርፋሪውም በእርጥብ መደብ ላይ ሳስቶ ይበተን። መደቡ የታጠበና የተነፋ ቀይ ገረጋንቲ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ባለ ቀዳዳ ስለሆነ እርጥበት ይይዛል፣ ውሃም አያቁርበትም። ሳህኑ የፕላስቲክ እንጂ የብረት አይሁን። ከዚያ የተገኘው የመጀመሪያ ትውልድ ለመለኪያነት አይበቃም፤ እናቲቱ ከመንገድ የመጣች ናትና። ከርሷ አዲስ የወጣውን ጫፍ ብቻ እየቆረጡ ሁለትና ሦስት ጊዜ በንጹሕ መደብ ላይ ማራባት ያስፈልጋል። ይህ ወራት ይጠይቃል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ያለባችሁ ተማሪዎች ከወዲሁ አስቡበት።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ፤ የዚህ ሥራ ስኬትና ውድቀት ያለው እዚህ ነው። ሞስ የሚጠጣውን ሁሉ ይመዘግባል ብለናል። በአቃቂ ወንዝ ውሃ ያደገ ሞስ ስለ አየር አንዳች አይነግረንም፤ የሚነግረን ስለ ወንዙ ነው። የጉድጓድ ውሃም የካልሲየምና የባይካርቦኔት ጨው ስላለው በርጭት ብዛት በቅጠሉ ላይ ነጭ ቅሪት ይተዋል። የዝናብ ውሃ ይሻላል፤ ታዲያ ከየት የተጠራቀመ? አብዛኛው ቤት የተከደነው በቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮ ደግሞ በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያ በአሸንዳ የወረደ ውሃ ዚንክ ይዞ ይመጣል። በዚያ ውሃ ያደገ ሞስ ከፋብሪካው አጠገብ ሳይሰቀል ገና በችግኝ ጣቢያው በዚንክ ይሞላል፤ ተመራማሪውም የጣሪያውን ዚንክ የፋብሪካ ዚንክ ብሎ ሊያቀርብ ነው። ስለዚህ ውሃው ሰማይ ሥር በተዘረጋ ንጹሕ ላስቲክ፣ የክረምቱ መጀመሪያ ዝናብ አቧራውን አጥቦ ካለፈ በኋላ፣ በሐምሌና በነሐሴ ይጠራቀም። በበጋ ዲስቲልድ ውሃ መጠቀም ይቻላል፤ ሱቅ የሚሸጠው የባትሪ ውሃ ግን ሳይመረመር አይታመን።

አጠጣጡም ጥበብ አለው። ብዙ ሰው ሞስ በደረቀ ቁጥር ትንሽ መርጨት ደግነት ይመስለዋል። የደረቀ ሞስ ግን ሙት አይደለም፤ ሥራውን አቁሞ የሚጠብቅ ነው። ውሃ ሲያገኝ አስቀድሞ የሚጨምረው መተንፈስ ነው፤ የተጎዳውን ሕዋስ እየጠገነ ያጠራቀመውን ስኳር ያወጣል። ያወጣውን በብርሃን አስተፃምሮ ለመመለስ በቂ ጊዜ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። በቀትር ፀሐይ የተረጨች ጥቂት ውሃ ከመተካቱ በፊት ትደርቅና ሞሱን ዕዳ ውስጥ ትተወዋለች፤ ይህ በየቀኑ ከተደጋገመ ሞሱ ተርቦ ይሞታል። በአሜሪካ የኮሎራዶ አምባ ደረቅ ምድር የተደረገ ጥናት እንዲህ ያለ የአጭር ዝናብ ድግግሞሽ ሞስ ሲገድል አሳይቷል። ሕጉ አጭር ነው፦ ወይ ማለዳ በሚገባ አርጥቦ በመረብ ጥላ ሥር ማቆየት፣ ወይ ጨርሶ ደረቅ አድርጎ መተው። የበጋው ደረቅ ወራት ለብርማ ሞስ ዕረፍት እንጂ ጥፋት አይደለም። ማዳበሪያ አያስፈልገውም፤ ናይትሮጅን ሲበዛ ዋቅላሚ ያፈላና መደቡን ይወርሰዋል።

እንክብካቤው የሚጠናቀቀው፣ ያሳዝናል፣ በመግደል ነው። የለማው ሞስ ታጥቦ በማድረቂያ ምድጃ ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይደርቃል። ሕያው ሞስ በአንዱ ሥፍራ እያደገ በሌላው እየጠወለገ ልኬቱን ስለሚያዛባ ነው። ከዚያም እኩል ተመዝኖ በናይለን መረብ ከረጢት ይገባና በየሥፍራው በአንድ ዓይነት ከፍታ ለተወሰኑ ሳምንታት ይሰቀላል፤ ከፊሉ ግን ታሽጎ በቤተ ሙከራ ይቀራል። ይህ ያልወጣው ከረጢት ከሌለ የወጣው ሁሉ ትርጉም የለውም።

ውጤቱን በማንበብ ረገድ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አቃቂ የተቀመጠው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው፤ መረሬው ጥቁር አፈር ከዚያው ድንጋይ የመነጨ ነው። ባዛልት በተፈጥሮው ክሮሚየምና ኒኬል ይይዛል። በበጋ ነፋስ መረሬውን ሲያነሣ ሞሱ ክሮሚየም ያሳያል፤ ወዲያው ጣታችንን ወደ ቆዳ ፋብሪካ ብንቀስር እሳተ ገሞራው የሠራውን በሰው ላይ ልንጭን እንችላለን። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ብረት ጋር አሉሚኒየም ወይም ታይታኒየም አብሮ ይለካ፤ ክሮሚየሙ ከአሉሚኒየሙ ጋር እኩል ከፍ ዝቅ ካለ ምንጩ አፈር ነው፣ ብቻውን ካሻቀበ ግን ጥያቄ ይነሣል። እርሳስም እንዲሁ ታሪክ አለው። ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች እርሳስ ያለበት ቤንዚን እስከ 2006 እ.ኤ.አ. መግቢያ ድረስ ከገበያ ወጥቷል፤ በአሮጌው የደብረ ዘይት መንገድ ዳር ለአሥርተ ዓመታት የወረደው እርሳስ ግን ከአፈሩ ጋር አብሮ ይነሣል። የትናንቱን ጭስ ከዛሬው መለየት በአንድ በጋ ከረጢት የሚያልቅ ሥራ አይደለም፤ በክረምት፣ መሬቱ ረጥቦ አቧራው ሲቀመጥ፣ መድገም ይኖርብናል።

ወደ ቆስጣው ልመለስ። የማቀርበው አሠራር ውስብስብ አይደለም። በአንድ የወንዝ ዳር ማሳ ሦስት ነገሮች ጎን ለጎን ይቀመጡ፦ ገበሬው እንደ ልማዱ በወንዝ የሚያጠጣው ቆስጣ፤ በንጹሕ አፈር ተተክሎ ከሥሩ በንጹሕ ውሃ የሚጠጣ በገንቦ ያለ ቆስጣ፤ ከሁለቱም በላይ የተሰቀለ የሞስ ከረጢት። በገንቦው ቆስጣ ላይ የተገኘው ብረት ከሞሱ ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ መንገዱ አየር ነው። ቅጠሉን አጥቦና ሳያጥቡ መመርመርም ለቤት እመቤቷ የሚጠቅም መልስ ይሰጣል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ማሳው የማን እንደሆነ እናስታውስ። የገበሬው ገበያ በአንድ ወሬ ሊዘጋ ይችላል። ከረጢቱ ምን እንደሚለካ ሳይነገረውና ሳይፈቅድ መሰቀል የለበትም፤ ውጤቱንም ከጋዜጣ በፊት እርሱ ይስማው። መደቡን ለመጀመር የምትፈልጉ ተማሪዎች የክረምቱ ውሃ ሳያመልጣችሁ ላስቲካችሁን አዘጋጁ።