ሥራ ያለቀበትን ግዛት ስለ መሰናበት
በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር




የዝግጅት ኮሚቴው ስለ ኩባንያ ምዝገባ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ በመጀመሪያ ተግደርድሬ ነበር። እኔ የመንገድና የጎርፍ ማስወገጃ መሐንዲስ እንጂ የሕግ ሰው አይደለሁም። ሆኖም ከመካከላችን ብዙዎች በሜሪላንድ አነስተኛ የአማካሪ መሐንዲሶች ኩባንያ አቋቁመው በቨርጂኒያም፣ በዋሽንግተን ከተማም፣ ከዚያም ራቅ ብለው የሚሠሩ ስለሆኑ፣ ነገሩም እኔኑ አንድ ጊዜ ክፉኛ ያንገላታኝ በመሆኑ ግብዣውን ተቀበልሁ። ወደ አንድ ግዛት እንዴት ተመዝግቦ እንደሚገባ ባለፉት ዓመታት ብዙ ተነግሯል። የዛሬው ንግግሬ ስለ መውጣት ነው።

በአሜሪካ ሕግ «ባዕድ ኩባንያ» ማለት ከባሕር ማዶ የመጣ ማለት ብቻ አይደለም። በሜሪላንድ የተቋቋመ ኩባንያ የፖቶማክን ድልድይ ተሻግሮ ቨርጂኒያ ሲደርስ ባዕድ ይባላል። የዚህ አነጋገር ሥሩ ሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1839 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ የጆርጂያ ባንክ በአላባማ ስላደረገው ውል ሲፈርድ፣ ዋና ዳኛው ሮጀር ቴኒ የኩባንያ መኖሪያው በሕግ የፈጠረው ግዛት ብቻ እንደሆነና በሌላው ግዛት የሚሠራውም ያ ግዛት እስካልከለከለው ድረስ መሆኑን አስረዱ። በ1869 ዓ.ም. ደግሞ ሳሙኤል ፖል የተባለ የቨርጂኒያ የኢንሹራንስ ወኪል ያለ ፈቃድ የኒው ዮርክ ኩባንያዎችን ኢንሹራንስ ሸጠ ተብሎ በተከሰሰ ጊዜ፣ ፍርድ ቤቱ ኩባንያ እንደ ሰው የዜግነት መብት ይዞ ከግዛት ወደ ግዛት ሊዘዋወር አይችልም ሲል ወሰነ። ሕጉ ከዚያ ወዲህ በብዙ መንገድ ተለውጧል፤ ነገር ግን በየግዛቱ እየተመዘገብን የምንሠራበት ሥርዓት የበቀለው ከዚህ ሐሳብ ነው። እኛ መሐንዲሶች ደግሞ ከዋዮሚንግ የ1907 ዓ.ም. ሕግ ጀምሮ የሙያ ፈቃድ በየግዛቱ የሚሰጠን ስለሆነ ሸክማችን ድርብ ነው።

እንግዲህ ሥራው ሲያልቅ ምን ይሆናል? ብዙዎቻችን ምንም አይሆንም ብለን እናስባለን። ቢሮው ተዘግቷል፤ ሠራተኞቹ ተመልሰዋል፤ የመጨረሻው ክፍያ ገብቷል። የመዝገብ ቤቱ ሹም ግን ይህን ሁሉ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በእርሱ መዝገብ ላይ ኩባንያው ዛሬም ሥራ ላይ ነው። በሙያችን ጊዜያዊ ርክክብና የመጨረሻ ርክክብ እንደሚለያዩ ሁሉ፣ ሥራን ማቆምና ምዝገባን መሰረዝም የተለያዩ ናቸው።

በየዓመቱ የሚጠየቀው ገንዘብ ከግዛት ግዛት ይለያያል። ቨርጂኒያ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ኩባንያን በዓመት 50 ዶላር ታስከፍላለች። ሜሪላንድ ከዓመታዊው ሪፖርት ጋር በመደበኛው 300 ዶላር፣ ዋሽንግተን በየሁለት ዓመቱ 300 ዶላር ይጠይቃሉ። ካሊፎርኒያ ግን ዝቅተኛው ዓመታዊ ግብር 800 ዶላር ነው፤ ምንም ገቢ ባይኖርም። ለሁለት ወር የአፈር ምርመራ ወደዚያ ተሻግሮ የተመዘገበ ኩባንያ አምስት ዓመት ቢዘነጋው 4,000 ዶላር ዕዳ ይጠብቀዋል፤ መቀጫውና ወለዱ ሳይቆጠር።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ላርም። «ዝም ብል ግዛቱ ራሱ ይሰርዘኛል» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። እርግጥ ነው፤ ሪፖርቱን ያላቀረበ ኩባንያ ፈቃዱ ይሻራል። መሻር ግን ስንብት አይደለም። የቀደመው ዕዳ አይሰረዝም፤ ተመልሶ ለመግባት የሚፈልግም ውዝፉን መክፈል ይኖርበታል። በሌላ በኩል ኩባንያውን በትውልድ ግዛቱ ማፍረስም በባዕድነት የተመዘገበበትን ምዝገባ በራሱ አይዘጋውም። ስለሆነም ኩባንያውን ሊያፈርስ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ከሌሎቹ ግዛቶች ቢሰናበት፣ ለፊርማ የሚበቃ ሥልጣን ያለው ሰው ሳያጣ ጉዳዩን ይጨርሳል።

የስንብቱ ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ገጽ አይበልጥም። ኩባንያው በግዛቱ መሥራቱን ማቆሙን፣ የተሰጠውን ፈቃድ መመለሱን፣ የወኪሉንም ውክልና ማንሣቱን ይገልጻል። ከዚያም ወደፊት መጥሪያ ቢመጣ የግዛቱ ጸሐፊ ወይም ተመሳሳይ ሹም እንዲቀበልለት ይስማማና መጥሪያው የሚላክበትን አድራሻ ይሰጣል። ከወረቀቱ ይልቅ የሚያደክመው የግብሩ ነገር ነው። ቴክሳስ ከግብር መሥሪያ ቤቷ የምስክር ወረቀት ካልቀረበ ስንብቱን አትቀበልም፤ ኒው ዮርክም ለባዕድ ኮርፖሬሽን የግብር መሥሪያ ቤቱን ስምምነት ትጠይቃለች። አዲስ አበባ የንግድ ፈቃድ ለመመለስ ክሊራንስ ሲፈልግ የተንከራተተ ባልደረባ ካለ አይደነቅም። ካሊፎርኒያ ይህን ቅድመ ሁኔታ ትታለች፤ ነገር ግን የመጨረሻውን የግብር መግለጫ ያቀረበ ኩባንያ በ12 ወር ውስጥ የስንብት ወረቀቱን ማስገባት አለበት። የሠራተኛ ደመወዝ ግብርና የሥራ አጥነት መድን ሒሳቦች በብዙ ቦታ በሌላ ቢሮ ስለሚያዙ ለየብቻ ይዘጋሉ። የሙያ ቦርዱም የራሱ መዝገብ አለው።

መቼ ነው «ሥራችን አብቅቷል» ለማለት የምንደፍረው? ይህ ጥያቄ ለነጋዴው ቀላል ሲሆን ለእኛ ከባድ ነው። በባንክ ሒሳብ መያዝ ወይም በፍርድ ቤት ክስን መከላከል ብቻውን በብዙ ግዛቶች ሕግ እንደ ሥራ አይቆጠርም። ነገር ግን የዋስትናው ዘመን ሳያልቅ፣ ተቋራጩ ያጐደለውን እያረመ እኛም እየተመላለስን ስንፈትሽለት «አቁመናል» ብለን መፈረም በእኔ አስተያየት ሐሰት ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ርክክብ እስኪፈረምና የተያዘው ሪቴንሽን እስኪለቀቅ መቆየትን እመርጣለሁ። የአንድ ዓመት ክፍያ ቢያስጨምርም።

አሁን የራሴን ጉዳይ ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንዲት ጐረቤት ግዛት ለአንድ የመኖሪያ ሰፈር የዝናብ ውኃ ማስወገጃ ነድፈን ቁጥጥሩንም ጨርሰን ወጣን። ስንብቱን አላስገባሁም። ለወኪሉም በየዓመቱ የሚከፈለውን አቋረጥሁ፤ ወኪሉም ሥራውን ለቀቀ። ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ የሰፈሩ ነዋሪ ምድር ቤቱ ውኃ ገባበትና ተቋራጩንም እኛንም ከሰሰ። መጥሪያው የሄደው የዱሮው ቢሮአችን ወደ ነበረበት ሕንፃ ነው። እዚያ ያሉ አንዲት ወይዘሮ፣ በኪራይ ዘመናችን ቡና አብረን የጠጣን፣ ፖስታውን አይተው ስልክ ባይደውሉልኝ ኖሮ በሌለንበት ይፈረድብን ነበር። መልስ ለመስጠት የቀሩኝ ስድስት ቀናት ነበሩ።

ምዝገባው ቢዘጋ ኖሮ ክሱ አይቀርብም ነበር አልልም። ስንብት ለወደፊቱ እንጂ ቀድሞ ለተሠራው ሥራ ነፃ አያወጣም። በቨርጂኒያ በነደፍነው ግንባታ ላይ ሥራችንን ከፈጸምን ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በሜሪላንድ ግን ግንባታው ለአገልግሎት ከበቃ ከአሥር ዓመት በኋላ ነው በሕግ የመከሰሳችን ዘመን የሚያበቃው። ልዩነቱ መጥሪያው በስንብቱ ወረቀት ላይ በሰጠሁት አድራሻ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። የሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንስም አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው ስሕተቱ በተሠራበት ሳይሆን አቤቱታው በቀረበበት ጊዜ በሚጸናው ውል ስለሆነ፣ ከአንድ ግዛት ወጣን ብላችሁ ያን ግዛት ከውሉ እንዳታስወጡት እለምናችኋለሁ። እኔን ያዳነኝ ውሉን አለመንካቴ ነው። የውኃው መንገድም ሲጣራ ነዋሪው ራሱ ባሠራው የአትክልት ግንብ ምክንያት የተዘጋ ሆኖ ተገኘና ክሱ በእኛ ላይ ተነሣ።

ከዚያ በኋላ የሦስቱን ዓመት ውዝፍ ከነመቀጫው ከፍዬ፣ ማመልከቻውን ሞልቼ ላክሁ። የመጣልኝን የምስክር ወረቀት ከመጨረሻው ርክክብ ሰነድ ጀርባ፣ በዚያው የፕሮጀክቱ ፋይል ውስጥ አሥሬዋለሁ። በአሁኑ ጊዜ በሌላ ግዛት አንድ የድልድይ ፍተሻ ሥራ ስላለን፣ የዚያን ፋይል የመጨረሻ ገጽ ከአሁኑ ባዶውን ትቼለታለሁ።