የጋራ ሥራችን በማን ስም ይጻፍ?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተነበበ። ላልተገኙት ነዋሪዎች በሰሌዳው ላይ የተለጠፈ።)



ለዛሬ የያዝነው ጉዳይ አንድ ነው። ከመካከላችን 22 ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው የሰሊጥ ማበጠሪያ ማሽን ለመግዛት ተስማምተዋል። አሳቡ መልካም ነው። ሰሊጣችን ከነገለባውና ከነአፈሩ ተጭኖ ሲሄድ ዋጋው ምን ያህል እንደሚቀንስ ሁላችንም እናውቀዋለን። በማሽኑ ላይ ክርክር የለም። ክርክሩ የተነሣው በስሙ ላይ ነው። አንዱ «በአንድ ሰው ስም ፈቃድ እናውጣና እንገላገል» ይላል። ሌላው «አዲስ አበባ ዘመድ አለኝ፣ ኩባንያውን እዚያ እናቋቁም» ይላል። አሜሪካን አገር ልጅ ያላቸው ደግሞ «እዚያ በጥቂት ገንዘብ ወዲያው ይከፈታል አሉን» ይላሉ። ስለዚህ ሕጉንና ወጪውን ጠይቀን፣ የሚያውቁትን አስነብበን፣ የተረዳነውን እነሆ እናቀርባለን።

1ኛ/ በአንድ ሰው ስም ቢሆንስ?

ይኸ ለመጀመር ከሁሉ ይቀላል። አንድ መታወቂያ፣ አንድ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ አንድ ንግድ ፈቃድ ይበቃል። ነገር ግን በሕግ ፊት ማሽኑ የዚያ ሰው ነው። የኛ ስም የትም የለም። ሰውየው በሌላ ጉዳይ ዕዳ ቢኖርበት ባለገንዘቡ ማሽኑን ሊያስይዘው ይችላል። እግዜር አያድርገውና ቢሞት፣ ወራሾቹ የአባታችን ንብረት ነው ቢሉ አይፈረድባቸውም። መዋጮ ከፍለናል ብለን የማስረዳቱ ሸክም በኛ ላይ ይወድቃል። በእሱም በኩል ቢታይ ጉዳት አለው፤ ሥራው ቢከስር ዕዳው ቤቱንና ከብቱን ጭምር ይከተላል። አደራው ለሁለቱም ወገን ከባድ ነው።

የንግድ ሕጉ ይኸን መሰሉን ስምምነት «የእሽሙር ማኅበር» ይለዋል። አባላቱ እርስ በርሳቸው ይተዋወቁበታል እንጂ ለውጭ ሰው አይገለጽም፤ አይመዘገብም፤ የራሱ የሕግ ሰውነት የለውም። ብዙዎቻችን በየገበያው የምንሠራው እሽሙር መሆኑን ሳናውቅ ነው። ለአንድ ክረምት የሰሊጥ ንግድ፣ ለሚተማመኑ ሁለት ሰዎች ይሆን ይሆናል። ለ22 ሰውና ዓመታት ለሚሠራ ማሽን ግን አይሆንም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

2ኛ/ የኅብረት ሽርክና

ይኸ ይመዘገባል፣ ስምም አለው። ነገር ግን እያንዳንዱ ሸሪክ ለማኅበሩ ዕዳ በሙሉ ተጠያቂ ነው። ከ22 ሰው 21ዱ ቢጠፉ ባለገንዘቡ የቀረውን አንድ ሰው ይዞ ጠቅላላውን ዕዳ ሊጠይቀው ይችላል። የግል ንብረት ጭምር አለበት ማለት ነው። እናቶች ይኸን አንቀጽ በጥሞና ያዳምጡ።

3ኛ/ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር

በተለምዶ ፒኤልሲ የምንለው ነው። ሽማግሌዎቻችን ኩባንያ ሲባል የደርግን ዘመን የካፒታል ጣሪያ አስታውሰው ይሠጋሉ፤ ያ ጣሪያ ዛሬ የለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ይኸን ማኅበር ከ2 እስከ 50 ሰው እንዲያቋቁመው ፈቀደ፤ ዝቅተኛውን ካፒታል 15,000 ብር አደረገ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ይኸንኑ 15,000 ብር አልለወጠውም። በ1952 ዓ.ም. 15,000 ብር የትልቅ ነጋዴ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ለ22 ሰው ቢካፈል ለአንድ ሰው 700 ብር አይሞላም። አዲሱ ሕግ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ይኸን ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። እሱ ቢሞት ወይም ቢታመም የሚተካውን ሰው አስቀድሞ መሰየም አለበት።

ዋናው ጥቅሙ፣ ማኅበሩ ቢከስር አባሉ የሚያጣው ያዋጣውን ድርሻ ነው፤ ቤቱ አይነካም። ነገር ግን ከለላው እንዲያው በስም አይገኝም። የማኅበሩን ገንዘብ ከኪስ ገንዘብ ጋር የቀላቀለ ሰው ከለላውን ሊያጣ ይችላል። ባንክም ሲያበድር የአባላትን የግል ዋስትና ሊጠይቅ ይችላል። ያን የፈረመ ሰው ከለላውን በገዛ እጁ አነሣው ማለት ነው።

ድምፅ እንደ ድርሻው መጠን ነው። ብዙ ያዋጣ ብዙ ይወስናል። ማሽን ወይም ሌላ ዕቃ በመዋጮ የሚያገባ ቢኖር ዋጋው ተገምቶ በመመሥረቻ ጽሑፉ ውስጥ መግባት አለበት። ድርሻን ለውጭ ሰው ለመሸጥም የአባላት ፈቃድ ያስፈልጋል።

ወጪውስ? መክፈቻው ቀላል ነው፤ ማኖሪያው ነው የሚከብደው። በየጊዜው የሒሳብ መዝገብ መያዝ አለበት፤ ለዚህም ሒሳብ አዋቂ መቅጠር ግድ ይሆናል። ትርፍ ባይኖር እንኳ ግብር ማስታወቅ አይቀርም። ፈቃዱ ይታደሳል። የድርጅት ግብር ከትርፉ 30 በመቶ ነው። ማሽኑ በዓመት 200,000 ብር ቢያተርፍ 60,000 ብሩ ለመንግሥት ይሄዳል፤ የቀረው 140,000 ብር ለአባላት ሲከፋፈል ደግሞ የትርፍ ድርሻ ግብር አለበት። በግል የሚነግድ ሰው ግን ግብሩ በገቢው መጠን ከታች ጀምሮ እስከ 35 በመቶ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ማኅበሩ ይብቃ ቢባልም በሩን ዘግቶ መሄድ የለም፤ ሒሳብ አጣሪ ይሾማል፣ ከግብር መሥሪያ ቤት ዕዳ የለበትም የሚል ወረቀት ይመጣል።

4ኛ/ የኅብረት ሥራ ማኅበር

ይኸኛው የሚቋቋመው በንግድ ሕጉ ሳይሆን በራሱ አዋጅ ነው፤ የሚመዘግበውም የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ነው። እዚህ አንድ ሰው አንድ ድምፅ ነው። አሥር ዕጣ የገዛውም አንድ ዕጣ የገዛችውም እኩል ይመርጣሉ። የ1991 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 147 ማኅበሩን ከገቢ ግብር ነፃ አድርጎ፣ አባሉ ግን በትርፍ ድርሻው ላይ እንዲከፍል ደንግጎ ነበር። ከተጣራው ትርፍ 30 በመቶ ለመጠባበቂያ እንዲቀመጥም አዝዞ ነበር። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የቴምብር ቀረጥ አዋጅም ለንግድ ማኅበር መመሥረቻ ጽሑፍ 350 ብር፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበር ግን 35 ብር ነበር ያስቀመጠው። መንግሥት ወደየትኛው ያደላ እንደነበር ከዚህ ይታያል። ጉድለቱ ደግሞ፣ ብዙ ገንዘብ ያለው ሰው ብዙ ለማዋጣት አይጓጓም፤ ድምፁ አንድ ናትና።

5ኛ/ የት ይመዝገብ?

አዲስ አበባ ይሻላል ለምትሉ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 የንግድ ሕግ ማውጣትን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጥቶታል። ክልሎች የየራሳቸውን የንግድ ሕግ አያወጡም። ስለዚህ 15,000 ብሩ አብርሃ ጅራም፣ ጎንደርም፣ አዲስ አበባም ያው ነው። ከ2 እስከ 50 የሚለውም ያው ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980 ነጋዴ አንድ ጊዜ ብቻ ይመዘገባል ይላል። ሌላ ቦታ ቢሠራ ቅርንጫፍ ያስመዘግባል እንጂ እንደገና አይመዘገብም።

ታዲያ አዲስ አበባ ብንመዘገብ ምን እናተርፋለን? የሕግ ጥቅም የለም። የግብር ፋይላችን እዚያ ይከፈታል፤ ሒሳብ ለማስታወቅና ለማስተካከል መንገዱ በኛ ላይ ነው። አድራሻ ያዋሰን ዘመድ ቤቱን ቢቀይር ደብዳቤ የሚደርሰን የለም። ማሽኑ ምዕራብ አርማጭሆ እየሠራ ወረቀቱ አዲስ አበባ ምን ይሠራል? ከመተማ ማዶ ያለውን ገበያ ለምታስቡም፣ ጋላባት የሱዳን ሕግ ነው የሚሠራበት፤ የኛ ምዝገባ ድንበሩን አይሻገርም።

6ኛ/ አሜሪካን አገርስ?

እዚያ ነገሩ ከኛ ይለያል። ኤልኤልሲ የሚባለውን ማኅበር በመጀመሪያ በሕግ ያወጣው የዋዮሚንግ ክፍለ ግዛት ነው፤ በ1969 ዓ.ም.። ሕጉ በየክፍለ ግዛቱ ስለሆነ ዋጋውም ይለያያል። የኛ ሰዎች የሚበዙበት ቨርጂኒያ ለመክፈቻ 100 ዶላር፣ ከዚያ በየዓመቱ 50 ዶላር ያስከፍላል። አጠገቡ ያለው ሜሪላንድ መክፈቻው ያው 100 ዶላር ሲሆን በየዓመቱ ግን 300 ዶላር ነው። ካሊፎርኒያ በ70 ዶላር ይከፍትና በየዓመቱ ቢያንስ 800 ዶላር ይጠይቃል። መክፈቻው የረከሰው ማኖሪያው ተወዷል ማለት ነው። ዋዮሚንግ ይረክሳል ብሎ እዚያ ከፍቶ ሜሪላንድ የሚሠራ ሰው ደግሞ ሜሪላንድም እንዲመዘገብ ይገደዳል፤ ለሁለቱም ይከፍላል። ልጆቻችን የሚነግሩን የመክፈቻውን ብቻ ነው። አሜሪካን አገር የተከፈተ ማኅበር ደግሞ አብርሃ ጅራ ማሽን ለማሠራት ፈቃድ አይሆንም፤ በኢትዮጵያ ሕግ የውጭ ድርጅት ነው። ልጆቻችን መርዳት ከፈለጉ ገንዘቡን በባንክ ይላኩ።

ስለዚህ ከባሕር ማዶውም ከአገር ቤቱም የምንማረው አንድ ነው። ማኅበር የሚመረጠው በመክፈቻው ዋጋ አይደለም። ሥራው የት ነው? ኪሳራ ቢመጣ ማን ይሸከማል? በየዓመቱ የሚመጣውን ወጪ እንችላለን ወይ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የመለሰ ሰው የትኛው እንደሚሻለው ያውቃል።

የኛ አሳብ

ሀ/ በአንድ ሰው ስም የሚለው ይቅር። ማንንም ስለምንጠረጥር አይደለም፤ ጎረቤትን ከጎረቤት፣ ወራሽን ከባለመዋጮ ላለማጋጨት ነው።

ለ/ ሁሉም ተቀራራቢ ገንዘብ የሚያዋጣ ከሆነ የኅብረት ሥራ ማኅበር ይሻላል። ሴቶችና ጥቂት ያላቸው ሰዎች እኩል ድምፅ ያገኛሉ። ነገር ግን አዋጁ ለአባላት ቁጥር ዝቅተኛ ልክ ስላለው፣ 22 ሰው ለሥራችን መብቃቱን የወረዳው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት መጀመሪያ ያረጋግጥልን።

ሐ/ ሦስት አራት ሰዎች ብዙውን ገንዘብ የሚያወጡ ከሆነ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ይሻላል። ያን ጊዜ የሒሳብ አዋቂው ደመወዝ ከመጀመሪያው ቀን በዕቅድ ይያዝ።

መ/ የትኛውም ቢሆን ምዝገባው በዚሁ በወረዳችን ይሁን።

የመሥሪያ ቤት ክፍያዎች በየጊዜው ስለሚለወጡ ከመስኮቱ ላይ የተለጠፈውን ዋጋ ጽፋችሁ አምጡ፤ ለደላላ ቃል ገንዘብ አትስጡ። 22ቱም ሰዎች ለሚቀጥለው ስብሰባ ሙሉ ስማችሁን፣ የምታዋጡትን ብርና እናንተ ባትኖሩ ድርሻውን የሚቀበለውን ሰው በወረቀት ጽፋችሁ ኑ። መጻፍ የማይችል በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያስጽፍ፤ አይከፈልበትም። ድምፅ የሚሰጠው ይኸ ዝርዝር ከተሟላ በኋላ ነው። የጎደለ ስም ካለ ማሽን አይገዛም።

የማኅበሩ ጸሐፊ
አብርሃ ጅራ