«ምንም የለብህም» ከተባለ በኋላ

በጥሪ ማዕከል ሠራተኞች ስብሰባ ላይ የቀረበ የግንዛቤ ማስጨበጫ ንግግር

ከክሊኒካችን ብዙውን ጊዜ የምትሰሙት ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ወገብ ሕመምና ስለ ዓይን ድካም ነው። የዛሬው ጉዳይ ለየት ይላል። በደም ምርመራ አይገኝም፣ በራጅ አይታይም። የያዘው ሰውም «አበደ ይሉኛል» ብሎ ስለሚፈራ ለማንም ሳይናገር ይዞት ይኖራል።

ሕመሙ ሦስት መልክ አለው። አንደኛው፣ ውጭ ምንም ሳይኖር ጆሮ ውስጥ የሚሰማ ጩኸት ነው። አንዳንዱ ጭው ይልበታል፣ አንዳንዱ ያፏጭበታል፣ ሌላው እዝዝ ይልበታል። ሐኪሞች ቲናይተስ ይሉታል። ሁለተኛው በጉንጭ፣ በመንጋጋና በጆሮ ዙሪያ የሚሰማ ሕመም ነው። ሦስተኛው ድምፅ አለመቻል ነው፤ ሌላው ሰው ልብ የማይለው የስኒ መጋጨት፣ የበር መዘጋት፣ የወያላ ጥሪ እንደ ጥቃት ይሰማል። ይኼኛውን ሃይፐራኩሲስ ይሉታል። ድምፅ የማይችል ሰው ጆሮው በጣም ጥሩ ነው ማለት እንዳይመስላችሁ። ቤትሆቨን እ.ኤ.አ. በ1801 ለሐኪም ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ጆሮው ቀንና ሌሊት እንደሚጮህ፣ ሰው ዝቅ አድርጎ ሲያወራ እንደማይሰማው፣ ሲጮህ ደግሞ ፈጽሞ እንደማይችለው ገልጿል።

በሄድሴት በሚሠራ ሰው ላይ ሦስቱ አንድ ላይ የሚመጡበት የታወቀ መንገድ አለ። መስመሩ ላይ በድንገት ስለታም ድምፅ ይገባል። የፋክስ ድምፅ ሊሆን ይችላል፣ የሚያፏጭ ማይክ ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዴም የተናደደ ደንበኛ ሆን ብሎ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በዴንማርክ፣ በእንግሊዝና በአውስትራሊያ የጥሪ ማዕከሎች ይህ እየተደጋገመ ሲመጣ «አኩስቲክ ሾክ» የሚል ስም ወጣለት። ሠራተኛዋ ሄድሴቱን ከራሷ ላይ ነጥቃ ትጥላለች። ጆሮዋን እንደተወጋች ያማታል፣ የተደፈነ ይመስላታል፣ ጉንጯ ይደነዝዛል ወይም ያቃጥላታል፣ ጩኸቱ ይጀምራል። ብዙዎች በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይሻላቸዋል። አንዳንዶች ግን ይሰነብትባቸዋል፤ እነሱ ሐኪም ዘንድ ሄደው የመስማት ምርመራ ሲደረግላቸው ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ይወጣል። ሠራተኛዋም «ምንም የለብሽም» ተብላ ትመለሳለች። እኔ ዛሬ እዚህ የቆምኩት በዚህች ዓረፍተ ነገር ምክንያት ነው።

የመስማት ምርመራው የሚለካው ምን ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ መስማት እንደምንችል ነው። ምን ያህል ከፍ ያለ ድምፅ መሸከም እንደምንችል አይጠይቅም፤ ጉንጫችን ይቃጠል አይቃጠልም አይጠይቅም። ለሌላ ጥያቄ የተሰጠን መልስ ይዞ ሰውን ውሸታም ማድረግ ነውር ነው።

ታዲያ ጆሮን ከፊት ጋር ምን አገናኘው? ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ሁለት ትናንሽ ጡንቻዎች አሉ። አንዱ እርካብ የመሰለችውን፣ ከሰውነታችን አጥንቶች ሁሉ ትንሿን አጥንት ይይዛል። ሁለተኛው ታምቡሩን የሚወጥር ነው። ይህን ሁለተኛውን የሚያዘው ነርቭ ትራይጄሚናል ይባላል። መንጋጋችንን ለማኘክ የሚያንቀሳቅሰው፣ የጉንጭንና የጥርስን ስሜት ወደ አንጎል የሚያደርሰውም ይኸው ነርቭ ነው። ጡንቻው ደግሞ ከፍ ያለ ድምፅ ሲመጣ ብቻ ሳይሆን ስንደነግጥም ይኮማተራል። የዘርፉ ባለሙያዎች የሚሰጡት ማብራሪያ ይህ ነው፦ ከኃይለኛ ድንጋጤ በኋላ ጡንቻው ዘብ እንደቆመ ይቀራል፣ አደጋ በሌለበትም ይኮማተራል፤ ሕመሙም በነርቩ መስመር ወደ ጉንጭና መንጋጋ ይዘልቃል። ውጥረት፣ እንቅልፍ ማጣትና በሌሊት ጥርስ ማፋጨት ነገሩን ያከርሩታል።

ጆሯችሁ የሚጮህባችሁ ካላችሁ፣ አሁን እዚሁ ጥርሳችሁን ግጥም አድርጋችሁ ንከሱ፤ ከዚያ መንጋጋችሁን ወደ ፊት ግፉት። ጩኸቱ ከፍ ወይም ቀጠን አለ? ከተለወጠ መንጋጋና አንገት በነገሩ ውስጥ እጃቸው ሊኖርበት ይችላል። ይህ መጥፎ ዜና አይደለም፤ መንጋጋ የሚታከም ነገር ነው። ለስለስ ያለ ምግብ መብላት፣ በሞቀ ፎጣ ማሸት፣ ማስቲካ መተው ይረዳል። ጫት የሚቅም ካለ ለሰዓታት የሚታኘክ ነገር መገጣጠሚያውን እንደሚያደክም ይወቅ። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ፊትን ለሰከንዶች እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር፣ ሲታጠቡ ወይም ንፋስ ሲነካ የሚነሳ ሕመም የራሱ የነርቭ በሽታ ነው፤ የራሱም መድኃኒት አለው። ጥርስ መስሏቸው ደህና ጥርሳቸውን አስነቅለው፣ ሕመሙ ግን አብሯቸው የተመለሰ ሰዎች አሉ። ጥርስ ከመነቀሉ በፊት «ነርቭ ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሕመሙ የሰነፍ ሰበብ ለሚመስላቸው አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ ላንሳ። ክሪስቶፈር ጎልድሻይደር በለንደኑ ሮያል ኦፔራ ሃውስ ኦርኬስትራ ቪዮላ ተጫዋች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የዋግነርን ኦፔራ ሲለማመዱ መቀመጫው ከጥሩምባዎቹ ፊት ሆነ፤ ድምፁ ከ130 ዴሲቤል በላይ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ሙዚቃውን መቀጠል አልቻለም። ቤት ውስጥ ምግብ ሲያዘጋጅ እንኳ የጆሮ መከላከያ ያደርግ ነበር። ተቋሙ ሰውየው በአጋጣሚ በዚያው ጊዜ ሌላ የጆሮ በሽታ ጀምሮት ነው ብሎ ተከራከረ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ለሙዚቀኛው ፈረደ፣ ይግባኝ ሰሚውም እ.ኤ.አ. በ2019 አጸናው። በእንግሊዝ ፍርድ ቤት አኩስቲክ ሾክ ካሳ የሚያስከፍል ጉዳት ነው ተብሎ ሲፈረድ የመጀመሪያው ነበር። ድምፅ እንጀራው የሆነ ሙዚቀኛ እስከ ፍርድ ቤት ካልታመነ፣ የእኛዋ ኤጀንት በፈረቃ መካከል «ጆሮዬን» ብላ ስትነሳ ማን ያምናታል?

አሁን ወደ መፍትሔው ልግባ፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። የተጎዳ ሰው ይሸሻል። ጆሮውን በጥጥ ይደፍናል፣ ከሰርግ ይቀራል፣ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ቆሞ ያስቀድሳል፣ በመጨረሻም በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። አልፈርድበትም። ግን ፀጥታ መድኃኒት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 ሄለርና በርግማን የተባሉ ተመራማሪዎች መስማታቸው ጤነኛ የሆነ 80 ሰዎችን ድምፅ በማይገባበት ክፍል አስቀምጠው የሚሰሙትን ጠየቋቸው። 94 በመቶዎቹ ጆሯቸው ውስጥ ድምፅ ሰሙ። ፀጥታ ሲበዛ አንጎል የጠፋውን ድምፅ ፍለጋ ቮልዩሙን ይጨምራል፤ ደንበኛው ሳይሰማን ሲቀር እኛ እንደምናደርገው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናትም ለሁለት ሳምንት ጆሯቸውን የደፈኑ ጤነኛ ሰዎች ለድምፅ ይበልጥ ስሱ እንደሆኑ፣ ለስላሳ ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ ያደረጉት ግን የመቻል አቅማቸው እንደጨመረ አሳይቷል።

ስለዚህ መድፈኛውን ለእውነተኛ ጩኸት አስቀምጡት፦ ለጄኔሬተር፣ ለግራይንደር፣ ለሰርግ ቤት ስፒከር። በሙያው 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት የሚመከረው ጣሪያ ነው፤ ሦስት ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ለተራው የቀን ድምፅ ጆሯችሁን አትድፈኑ። በመጠኑ ተመለሱበት። ዛሬ ጸጥ ያለ ካፌ ለጥቂት ደቂቃ፣ ሲለመድ ትንሽ ረዘም አድርጎ። ሕመም ከተነሳ አንድ እርምጃ ተመለሱ፤ ከቤት ግን አትቅሩ።

ሌሊት ጩኸቱ የሚነግሠው ክፍሉ ፀጥ ስለሚል ነው። ሬዲዮ ዝቅ አድርጉ፣ በስልካችሁ የዝናብ ድምፅ ክፈቱ፣ ቬንቲሌተር ካለ ይዙር። ድምፁ ጩኸቱን አይዋጠው፤ ከሱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይሰማ፤ አንጎል ጩኸቱን የሚለምደው ሁለቱን አብሮ ሲሰማ ነው። መላመዱ ወራት ይፈጃል፣ ግን ይመጣል። ጩኸቱን የሚያጠፋ ክኒን እስካሁን የለም፤ አለኝ የሚላችሁን ገንዘባችሁን ይዛችሁ እለፉት። በጥናት የተሻለ ውጤት ያሳየው ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ የሚባለው የሥነ ልቦና ሕክምና ነው። ድምፁን አያጠፋም፤ ድምፁ የሚያመጣውን ፍርሃትና ንዴት ይቀንሳል። ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ተላክሁ ማለት «የፈጠርከው ነው» ተባልኩ ማለት አይደለም። ጠበል የምትጠመቁም ተጠመቁ፤ የታዘዘላችሁን መድኃኒት ግን በራሳችሁ አታቋርጡ። ቡናችሁንም ጠጡ፤ ቡና ጩኸት ያባብሳል የሚለው ማስረጃው ደካማ ነው።

ጆሮ ውስጥ ክብሪት፣ ቁልፍ፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ዘይት አትክተቱ። የተጠቀጠቀ ኩክም ራሱ ጩኸት ያመጣል፤ ሐኪም በአንድ ቀጠሮ ያወጣዋል። በብዛት የተወሰደ አስፕሪን፣ ኩዊኒንና እንደ ጄንታማይሲን ያሉ መርፌዎችም ጆሮን ሊያስጮሁ ይችላሉ፤ የምትወስዱትን ሁሉ ለሐኪሙ ንገሩ።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች አሉ። በአንድ ጆሮ በድንገት መስማት ማቆም በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየው የሚገባ ነገር ነው፤ ሕክምናው በቶሎ ሲጀመር ነው የሚረዳው። የፊት መጣመም፣ ኃይለኛ ማዞር፣ ከጆሮ የሚወጣ ፈሳሽ፣ ከልብ ምት ጋር የሚመታ ጩኸት፣ ወይም በአንድ ወገን ብቻ የማይለቅ ጩኸት ካለ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ስፔሻሊስት ይያችሁ። ጥቁር አንበሳና ጳውሎስ ሆስፒታሎች ይህ ክፍል አላቸው፤ ሪፈር እኔ አጽፍላችኋለሁ።

ለአስተዳደር የምለው አጭር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ሠራተኛውን ከሥራው ስለሚመጣ አደጋ እንዲያሳውቅና መከላከያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ድንገተኛ ድምፅን የሚገድብ ሄድሴት መግዛት የቅንጦት ወጪ አይደለም። አዳራሹ ሲጮህ ኤጀንቱ ሁሉ ቮልዩም ይጨምራል፤ በመቀመጫዎች መካከል መከፋፈያ ይደረግልን። ተጎድቶ የተመለሰ ሠራተኛ ወዲያው ስምንት ሰዓት መስመር ላይ አይቀመጥ፤ በጽሑፍ መልእክት ክፍል ይጀምርና ቀስ በቀስ ወደ ስልክ ይመለስ።

እናንተ የፈረቃ ኃላፊዎች፣ አንድ ሰው ሄድሴቱን ነጥቆ ሲነሳ «ጥሪውን ጨርስ» አትበሉት። ሰዓቱን፣ የጥሪውን ቁጥርና የሰማውን ጻፉ፤ ቅጂው እንዳይጠፋ አስቀምጡ፤ ሠራተኛውን ወደ ክሊኒክ ላኩት። እናንተም ባልደረቦቼ፣ ዛሬ ጆሯችሁ የሚጮህባችሁ፣ ጉንጫችሁ የሚቃጠልባችሁ ካላችሁ፣ ነገ ይተወኛል እያላችሁ አትጠብቁ። ከዚህ ስብሰባ በኋላ እስከ ምሳ ሰዓት ክሊኒክ ነኝ፤ ኑ።