ሞተር፣ ከፍታና የመንገድ ማደሪያ

ዛሬ የማጫውታችሁ በሞተር ሳይክል ረጅም መንገድ ስለመጓዝና በመንገድ ላይ ድንኳን ተክሎ ስለማደር ነው። እዚህ ልደታ ማርያም አካባቢ ሞተር ስንጠግን አብረውን የሚውሉ ወጣቶች "ይቺ ሞተር ባሕር ዳር ታደርሰኛለች ወይ?" ብለው ይጠይቁኛል። እኔም መልሼ "አባይን እንዴት ልትወርደው አስበሃል?" እላለሁ። ሰው የሚጨነቀው ስለ ርቀቱ ነው። በደብረ ማርቆስ በኩል ባሕር ዳር 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በደንብ የተያዘች 150 ሲሲ ሞተር ይህን ርቀት ትችለዋለች። የሚፈትናት ዳገቱና ቁልቁለቱ ነው። በአገራችን አንድ ሞተረኛ በግማሽ ቀን ውስጥ ከደጋ ቆላ ወርዶ መልሶ ደጋ ይወጣል። ሞተሩም፣ ፍሬኑም፣ ልብሱም፣ የሚያድርበትም ቦታ የሚወሰነው በዚህ ነው።

ሠፈራችን ልደታ የከፍታን ጉዳይ ከድሮም ያውቀዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ ያደረገው ከዚሁ ከልደታ ሜዳ ተነሥቶ ነው። የጄት ዘመን ሲመጣ ግን የልደታ መንደርደሪያ አጠረና ቦሌ ተሠራ። ከፍ ያለ ቦታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የአውሮፕላኑ ሞተር የሚስበው ኦክስጅንም፣ ክንፉ የሚደገፍበት አየርም ያንሳል፤ ለመነሣት ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል። የእናንተም ሞተር የሚተነፍሰው ያንኑ አየር ነው። በግምት በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቷ 10 በመቶ ያህል ታጣለች። ከፋብሪካ 14 የፈረስ ጉልበት ይዛ የወጣች ሞተር አዲስ አበባ ላይ፣ በ2300 ሜትር ከፍታ፣ የሚቀራት 11 ቢሆን ነው። በደሴ መንገድ ጣርማ በር ስትደርስ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ማለት ነው፣ ከዚያም ይቀንሳል። በዚያ ላይ ሁለት ሰውና ድንኳን ከተጫነ ዳገቱ በሁለተኛ ማርሽ የሚገፋ ይሆናል። ይህ የሞተሯ ብልሽት አይደለም። ብዙ ሰው ግን "ጉልበት አጣች" ብሎ ያስፈታታል።

ካርቡሬተር ያላቸው ሞተሮች ሌላም ጣጣ አለባቸው። አየሩ ሲሳሳ የሚገባው ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ ቤንዚኑ ይበዛና ካንዴላው ይጠቁራል። አንዳንድ መካኒክ ለአዲስ አበባ አየር እንዲስማማ ብሎ የሞተራችሁን የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ በጠባብ ይቀይርላችኋል። ከተማ ውስጥ ጥሩ ነው። ይህችኑ ሞተር ይዛችሁ ቆላ ስትወርዱ ግን አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት መካኒካችሁን "ቀዳዳውን ቀይረኸዋል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁት። መንገድ ላይ ደግሞ የካንዴላ መፍቻ ያዙ። ረጅም ዳገት እንደጨረሳችሁ ሞተሩን አጥፉና ትንሽ ሲበርድ ካንዴላውን ፍቱት። ጫፉ የቡና ዓይነት ቡናማ ከሆነ መንገዳችሁን ቀጥሉ። እንደ ጥላሸት ከጠቆረ ቤንዚን በዝቷል፤ ያን ያህል አያሰጋም። ነጭ ሆኖ አመድ ከመሰለ ግን ቁሙ። ያ ሞተር እየተቃጠለ ነው፤ ፒስተኑ ሊበላ ይችላል። ኢንጄክሽን ያላቸው አዳዲስ ሞተሮች ይህን ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ ጉልበታቸው ግን እንደሌሎቹ ይቀንሳል።

የሞተር ምርጫን በተመለከተ ብዙ አልናገርም። ቀላል ሞተር ይሻላል። ቴድ ሳይመን የሚባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1977 ዓለምን የዞረው በ500 ሲሲ ትራያምፍ ነው፤ ከሱዳን ተነሥቶ በመተማ ወደ ጎንደር የገባውም በዚያው ሞተር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ከስኮትላንድ እስከ ኬፕታውን የተጓዙት ተዋናዩ ኢዋን ማክግሬገርና ጓደኛው ቻርሊ ቡርማን የነዱት ትልልቅ ቢኤምደብሊው ነበር፤ ኋላቸው ግን ዕቃና ሰው የያዙ መኪኖች ይከተሏቸው ነበር። ጭቃ ላይ ስትወድቅ ብቻችሁን የምታነሧት፣ በየወረዳው ከተማ የፍሬን ሸራና ካቴና የሚገኝላት ሞተር ናት ለእኛ መንገድ የምትሆነው። ቦክሰር ይሁን አፓቼ ለዚህ ይበቃል።

አሁን ወደ አባይ ልውሰዳችሁ። ከጎሐ ጽዮን አፋፍ ወደ ድልድዩ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳላችሁ፤ ከዚያ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ትወጣላችሁ። አፋፉ ላይ ጃኬት ያስለበሳችሁ ብርድ ታች ድልድዩ ጋ ወደ ወበቅ ይለወጣል፤ በየ1000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። ከጣሊያን ዘመን በኋላ ብዙ ትውልድ ያሻገረው አሮጌው ድልድይና በጃፓን ድጋፍ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ ጎን ለጎን ይታያሉ። ሞተረኛው ግን ወደ ድልድዩ ከማየቱ በፊት ስለ ፍሬኑ ማሰብ አለበት።

ቁልቁለቱን የምትወርዱት በማርሽ ነው። አፋፉ ላይ ሳላችሁ ወደ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ቀንሱ፤ ጋዙን ልቀቁት፤ ሞተሩ ራሱ ይይዛችኋል። ፍሬን ያዝ ለቀቅ እየተደረገ ነው የሚሠራበት። ያለማቋረጥ ከተያዘ የኋላው ከበሮ ግሎ ይሰፋል፤ ሸራው አይደርስበትም፤ ፔዳሉም እስከ ታች ይወርዳል። የዲስክ ፍሬን ከሆነ ደግሞ ዘይቱ ይፈላና መያዣው እጃችሁ ውስጥ ስፖንጅ ይሆናል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ያረጀ ዘይት ቶሎ የሚፈላው ለዚህ ነው። በየዓመቱ ይቀየር የምንለውም ለዚህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ጨርሶ አይነካውም። የከባድ መኪና ሸራ የተቃጠለ ሽታ ከመጣባችሁ ከፊታችሁ ያለው ሹፌር ፍሬን እየጨረሰ ነው ማለት ነው፤ ራቁት፤ ዳር ይዛችሁ እስኪርቅ ጠብቁ። ፍሪሲዮን ይዞ ወይም ሞተር አጥፍቶ ቁልቁለት መውረድ ደግሞ ቤንዚን የሚቆጥብ እየመሰላቸው የሚያደርጉት አሉ። ይህን አደራ፣ አታድርጉት።

በገጠር ግብርናና በእርዳታ ድርጅቶች የምታውቋቸው የድሮ ያማሃ ዲቲ ሞተሮች፣ ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚያቃጥሉት፣ ለብቻቸው ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የዘይት መጠናቸው ከጋዙ ጋር የተያያዘ ነው። ጋዝ ዘግታችሁ ረጅም ቁልቁለት በማርሽ ስትወርዱ ሞተሩ በፍጥነት እየዞረ በቂ ዘይት ግን እየደረሰው አይደለም፤ ፒስተኑ ሊጣበቅ ይችላል። ስለዚህ በየመታጠፊያው ፍሪሲዮኑን ያዝ አድርጋችሁ ጋዝ ትንሽ ስጡት፤ ዘይት እንዲጠጣ።

መንገዱ የእናንተ ብቻ አይደለም። ከብት፣ በግና አህያ ይሻገራሉ። አህያ አስፋልት ላይ ከቆመች በጡሩምባ አትነቃነቅም፤ ዞራችሁ እለፏት። በግ አንዱ ከሮጠ ሁሉም ይከተሉታል፤ የመጀመሪያውን ካያችሁ የመጨረሻውን ጠብቁ። ጥጃ ከተሻገረች ላሟ ወደ እሷ እንደምትመጣ እወቁት። እረኛው ልጅ ብዙውን ጊዜ በማዶ ነው ያለው፤ ከብቱ ወደ እሱ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ዓይናችሁ ልጁን ይፈልግ። በገበያ ቀን ደግሞ ከተማ ከመግባታችሁ በፊት ፍጥነት ቀንሱ፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ጭድ የጫነ አይሱዙ በየመታጠፊያው ያፈሰሰው ለጎማ አንሸራታች ነው።

ማደሪያውን አስቀድማችሁ አስቡ። ፀሐይ በአገራችን ዓመቱን ሙሉ በ12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች፤ ስለዚህ 10 ሰዓት ተኩል ላይ መንዳት ይብቃ። ማታ መንዳት አልመክርም፤ መብራት የሌለው ጋሪና ጥቁር ልብስ የለበሰ መንገደኛ በጨለማ አይታይም።

ድንኳን ለመትከል ባዶ የሚመስል ሜዳ በአገራችን ባለቤት አለው። የግጦሽ መሬት ነው፣ ለሣር የተከለለ ነው፣ ወይም የአንድ ሰው እርሻ ነው። ቀድማችሁ ጠይቁ። የመሸበት መንገደኛ ቤት ደጃፍ ቆሞ "የእግዜር እንግዳ ነን" ሲል "ቤት የእግዜር ነው" የሚለው መልስ እስከ ዛሬ አለ፤ ድንኳን ስላላችሁም ግቢያቸው ጥግ ብትለምኗቸው ብዙ ጊዜ እምቢ አይሏችሁም። ስትጠይቁ የሠፈሩን ሽማግሌ ወይም የቀበሌ ሰው ፈልጉ፤ ስማችሁን፣ ከየት እንደመጣችሁ፣ ወዴት እንደምትሄዱ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ እናንተም ሞተራችሁም በእነሱ አደራ ናችሁ። የቡና ግብዣ ከመጣ ተቀመጡ። ጠዋት ስትነሡ የተከላችሁበት ቦታ እንደነበረ ይሁን፤ ፌስታል እንኳ አትተዉ። ከተማ ላይ ከሆናችሁ አጥርና ዘበኛ ያለው የሆቴል ግቢ በትንሽ ክፍያ ያሳድራል።

ቦታ ስትመርጡ ደረቅ የወንዝ አሸዋ ለጥ ያለና ለስላሳ ነው፤ ግን አታድሩበት። እናንተ ጋ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ በላይኛው ደጋ የዘነበ ዝናብ በሌሊት ጎርፍ ሆኖ ይመጣል። ከ2000 ሜትር በታች የምታድሩ ከሆነ፣ እንደ ላንጋኖ ባለ ቦታ፣ የወባ ጉዳይ አለ፤ የድንኳኑ መረብ ቀዳዳ እንደሌለው ቀን ላይ አረጋግጡ። ደጋ ላይ ደግሞ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ሁለት ብርድ ልብስ ከላይ ከምትደርቡ አንዱን ከሥር አንጥፉት፤ ብርዱ የሚመጣው ከመሬቱ ነው። ጅብ ቆዳ ይወዳል፤ ጫማና ጓንት ከድንኳን ውጭ አይደር። ከሁሉ በላይ አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ፦ ከሰል ድንኳን ውስጥ አታስገቡ። ፍሙ ነጭ አመድ ቢለብስም ጭስ ባይኖረውም የሚያወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል።

ምግብን በሚመለከት አባቶቻችንና እናቶቻችን ሥራውን ጨርሰውልናል። ውኃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ባሌ ሳነቴ ላይ፣ በ4000 ሜትር፣ በ87 ገደማ። ምስር እዚያ ላይ ቀቅላችሁ ለማብሰል ጋዛችሁን ትጨርሳላችሁ። በሶ ግን እሳት አይፈልግም፤ በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል። ጭኮ ሳምንት ይቆያል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ኪስ ውስጥ ይገባሉ፤ ለሚመጡ ልጆችም ይታደላሉ። የስንቅ ዕውቀታችን የተሠራው ለዚሁ መንገድ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ የታሸገ ምግብ ፍለጋ መድከም የለባችሁም።

ወረቀቱን በአጭሩ። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ያዙ። በአዲስ አበባ ሞተር ከ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ጀምሮ በፈቃድ የሚንቀሳቀስ ስለሆነ የእናንተ ሰነድ የተሟላ መሆኑን አስቀድማችሁ አጣሩ። ቤንዚን የሚከፈለው በስልክ ነውና ባትሪ ይኑራችሁ፤ ማደያ ባገኛችሁ ቁጥር ሙሉ። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ከነጭ ጋዝ ጋር የተቀላቀለ ሊሆን ይችላል። የመንገዱን ሰላም ደግሞ በመነሻችሁ ዋዜማ መናኸሪያ ሄዳችሁ ከዚያ መስመር የመጡ ሹፌሮችን ጠይቁ። እነሱ አትሂዱ ካሏችሁ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ አቆዩት፤ አባይም ሰሜንም ባሌም አይሄዱባችሁም።

ለጀማሪ የምመርጠው መንገድ ከዚሁ ከልደታ ይነሣል። በጦር ኃይሎች አድርጋችሁ አየር ጤና፣ ከዚያ ዓለም ገና፣ ሰበታ፣ ቱሉ ቦሎ፣ ወሊሶ። እስከ ወሊሶ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አስፋልቱም ቀስ እያለ ወደ 2000 ሜትር ያወርዳችኋል። ከወሊሶ ወደ ወንጪ ስትታጠፉ ግን ከ3000 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ፤ ሞተራችሁ በትክክል የምትፈተነው እዚህ ነው። ወንጪ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው፤ ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል። እዚያ እደሩ፤ የደጋን ሌሊት ለመልመድ የተሻለ ቦታ የለም። ጠዋት ሞተሯ ቶሎ ካልተነሣች አትጨነቁ፤ አየር መዝጊያዋን ስባችሁ እስክትሞቅ ጠብቋት፤ ወዲያው ጋዝ አትስጧት። ከዚያ ወደ አምቦ በማርሽ ውረዱ። አምቦ ስትደርሱ ሁለት ነገር እዩ፦ የካንዴላውን ቀለምና የኋላ ፍሬን ከበሮውን ሙቀት። ከበሮው ጠጋ ብላችሁ እጅ ብታቀርቡበት የሚጋረፍ ከሆነ በፍሬን ብዙ ወርዳችኋል፤ ለብ ያለ ብቻ ከሆነ የማርሽ አወራረድ ገብቷችኋል፤ በሆለታ አድርጋችሁ ወደ ቤት ስትመለሱ ለአባይ ቀን መቁረጥ ትችላላችሁ።