አሮጊቷ ላንድክሩዘር ጉና ትውጣ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ መኪናዋን ከሚነዱት አባላት አንዷ ያቀረበችው ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ መኪናችን ነው። ባለፈው ስብሰባ ሁለት ሐሳብ ተነሥቶ ሳይቆረጥ አድሯል። አንደኛው፣ «አርጅታለች፣ ናፍጣ ትጠጣለች፣ ትሸጥና ገንዘቡ ለአባላት በብድር ይዙር» የሚል ነው። ሁለተኛው የእኔና የጥቂት እህቶች ሐሳብ ነው፤ መኪናዋ ትጠገን፣ በበጋው ወራት እንግዳ እያሳፈረች የጋይንትን፣ የስማዳንና የእስቴን ተራራ ታሳይ፣ ገቢው ለማኅበሩ ይሁን እንላለን። ይህን ስንል ብዙዎቻችሁ ስቃችኋል። «ደግሞ ተራራ ለማየት ማን ገንዘብ ይከፍላል?» ያሉትን እናት አልረሳሁም። እውነታቸውን ነው። እንስራ አዝለን፣ እንጨት ተሸክመን የምንወጣው ዳገት ለሌላ ሰው መዝናኛ ነው ሲባል ያስቃል። ግን የሚከፍል ሰው አለ። በአውስትራሊያ ይህችኑ የመሰለች መኪና ገዝተው፣ ድንኳን ጭነው፣ ሰው የሌለበት በረሃ ለማየት ሳምንት ሙሉ የሚነዱ ሰዎች አሉ። እኛ ዘንድ ደግሞ ከበረሃው ይልቅ የሚታይ አለ።

መኪናዋን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ከኋላ ሁለት ረጃጅም አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት የተዘረጋባት፣ በየእርዳታ ድርጅቱ ግቢ የምትታየው ዓይነት ላንድክሩዘር ናት። ባለ 70 የሚባለው ይህ ዘር እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ነው። የእኛዋ ሞተር 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ በናፍጣ የሚሠራ፣ ቱርቦ የሌለው፣ ኮምፒውተር የማያዘው ነው። ናፍጣው በፖምፓ ይገፋል፣ በኖዝል ይረጫል፣ ይነዳል፤ በቃ። አዲስ መኪና ዳሽቦርዱ ላይ አንድ መብራት ካበራ የኮምፒውተር መመርመሪያ ያለው ጋራዥ ፍለጋ መጎተት ሊመጣ ነው። የእኛዋ ስትታመም ጆሮ ያለው መካኒክ ኮፈኗን ከፍቶ አዳምጦ ይነግራችኋል። ባሌስትራዋ ቢሰበር ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው እስክትገቡ ድረስ ያስራታል። «አሮጌ ናት» የሚለው ክስ ስለዚህ ለእኔ ግማሹ ምስጋና ነው።

ግማሹ ግን ክስ ነው፤ እሱንም አልሸፋፍንም። የፍሬኗ ሸራ አልቋል። ሁለት ጎማ መቀየር አለበት፣ ስኮርታዋም ለስሙ ነው ያለችው። እነዚህ ሳይሟሉ እንኳን እንግዳ፣ ድንች ጭናም ቁልቁለት እንድትወርድ አልፈቅድም።

አሁን ከፍታው ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ፤ ይህን የምታውቁት ከማድ ቤት ነው። ነፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ትላለች። እዚያ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ90 ገደማ ነው። ባቄላው ሳይበስል እንጨቱ የሚያልቀው፣ ቆላ የተዳረች ልጃችሁ «እዚህስ ቶሎ ይበስላል» የምትለው ለዚህ ነው። የመኪናዋም ውኃ እንደዚሁ ቶሎ መፍላት ይፈልጋል፤ የራዲያተሩ ክዳን ጥብቅ ሆኖ ግፊቱን ካልያዘ ዳገት መሐል ታስቀረናለች። ክዳኑም ትኩስ እያለ አይነካም፤ ፊት የሚልጥ እንፋሎት ነው የሚወጣው። ደግሞ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ 10 በመቶ ያጣል። ባሕር ዳር ላይ ሁላችንን አሳፍራ የምትፈተለክ መኪና ጋሳይን አልፋ ወደ ጋይንት ስትወጣ ጥቁር ጭስ እየተፋች የምታቃስተው ሰንፋ አይደለም፤ አየሩ ስስ ስለሆነባት ነው። ስለዚህ ከሰባት እንግዳ በላይ አናሳፍርም። «አንድ ሰው ምን ያደርጋታል» የሚል ዘመድ አይጠፋምና ቃለ ጉባኤው ላይ ቢጻፍልኝ ደስ ይለኛል።

የሚታየው ምንድን ነው? በመጀመሪያ ዋናው መንገድ አለ። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫ አድርጎ ወደ ወልድያ የሚሄደውን፣ ሽማግሌዎቻችን አሁንም የቻይና መንገድ የሚሉትን ማለቴ ነው፤ ዛሬ አስፋልት ነው። አስፋልት ስለሆነ አትናቁት። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን፣ ያን 7 ቶን የሚጠጋ መድፍ፣ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ በጋይንት በኩል ነው። ስድስት ወር ገደማ ፈጅቷል። መንገድ አልነበረም፤ ድንጋዩን እየፈነቀሉ፣ ገደሉን እየጠረቡ፣ ንጉሡም በእጃቸው እየሠሩ ነው ያለፉት። ከሠራዊቱ ጋር ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ፤ ያን ሁሉ ሕዝብ ማን ጋግሮ አበላው ብዬ ሳስብ መልሱን እናንተም ታውቁታላችሁ። እነሱ የጠረቡትን መንገድ ቆይቶ ወደ መቅደላ የመጣው የእንግሊዝ ጦር ተጠቅሞበታል። እንግዳ ይዘን ጨጨሆ አፋፍ ላይ ስንቆም የምንነግረው ታሪክ ይህ ነው። ጨጨሆ ለመድኃኔዓለም ጸበል የሚመጣውም ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ቡና የሚያፈሉ እህቶቻችን ከዚያ አይጠፉም።

ሁለተኛው መስመር ከዋናው መንገድ ወደ ደቡብ ታጥፎ ወደ ታች ጋይንትና ወደ ስማዳ የሚወርደው ነው። እኔ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። ጠዋት ገብስ ከሚያጭዱ ሰዎች አጠገብ ጋቢ ደርበን እንነሣለን፤ ጤፉን አልፈን፣ ከቀትር በኋላ ማሽላ ከተዘራበት ቆላ አፋፍ ላይ ጋቢውን አውልቀን በሽሎ የቆረጠውን ገደል ቁልቁል እናያለን። ማዶው ወሎ ነው። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ በአንድ ቀን። እኛ የለመድነው ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ግን አፉን ይዞ ነው የሚያየው።

ሦስተኛው የጉናን ጫፍና እግር ይዞ ወደ እስቴ፣ ወደ መካነ ኢየሱስ የሚዞረው ነው። ጉና ከ4000 ሜትር በላይ ነው፤ ርብና ጉማራ ከእሱ ተነሥተው ጣና ይገባሉ። ላዩ ላይ ጅብራው እንደ ዘበኛ ቆሞ ይታያል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፤ መንገዱ ሲያልቅ መኪናዋ ትቆማለች፣ ሰው በእግሩ ይወጣል። በሌላው ዓለም ሣር ላይ፣ ጅረት ውስጥ እየገቡ መንዳትን እንደ ጀግንነት የሚያዩ አሉ። የጉና ሣር አንዴ በጎማ ከተላጠ ክረምት የመጣው ጎርፍ ያንን መስመር ቦይ አድርጎት ያድራል፤ ከታች ያለው ማሳ የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ከእስቴ ወገን ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ሰባራ ድልድይ አለ። በጎንደር ነገሥታት ዘመን የተሠራ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሐሉ የተሰበረ ድልድይ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው በገመድ እየተሳበ ነበር ከጎጃም በጌምድር የሚሻገረው። አንድ አሜሪካዊ ሰዎች በገመድ ሲሻገሩ የሚያሳየውን ፎቶ በመጽሔት ያይና እ.ኤ.አ. በ2001 ድልድዩን ለመጠገን ይነሣል። ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ የሚባለው፣ ዛሬ በብዙ አገር የእግረኛ ድልድይ የሚሠራው ድርጅት የተወለደው ከዚህ ነው። ጥገናውን ጎርፍ ወሰደው፤ ቆይቶ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ይህን ለደጋፊዎቻችን ብዬ ነው ያነሣሁት። ያ ሰው ያየው አንድ ፎቶ ነው። እኛ ሰውን ራሱን አምጥተን ብናሳይስ? ሪፖርታችንን ታነብባላችሁ፣ እናመሰግናለን፤ ግን ስማዳ ላይ አንዲት እናት ገበያ ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደምትሄድ ሪፖርት አያሳያችሁም፤ ከመስኮት ሆናችሁ ያንኑ መንገድ ስትወርዱ ግን ይገባችኋል።

ስለ አነዳዱ ጥቂት ልበል፤ እንግዶችም ቢሰሙት ይበጃል። ዳገት መኪናን ያደክማል፣ ቁልቁለት ግን ይገድላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ እግሩን ፍሬን ላይ ጥሎ የሚወርድ ሹፌር ሸራውን ያግለዋል፤ ከጋለ አይዝም። ደንቡ፣ ከአፋፉ ላይ ቆሞ፣ አራቱንም ጎማ አስይዞ፣ ሁለተኛዋን አጭር የማርሽ ዘንግ ወደ ከባዱ ማርሽ ጎትቶ፣ በሞተሩ ተይዞ መውረድ ነው። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን እንደ በቅሎ እየመረጠች ትወርዳለች። ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ የሚለቅ ሰው የእኛን መሪ አይጨብጥም። ረዳቷ ደግሞ ታኮዋን ይዛ ትቀመጣለች፤ መኪናዋ በቆመች ቁጥር መጀመሪያ የምትወርደው እሷ ናት። ወንዝ ሲያጋጥም በእግር ሳይሞከር አይገባም፤ ውኃው ከደፈረሰና ቅጠል ካመጣ ላይኛው አገር ዘንቧል ማለት ነውና እስኪጎድል ቁጭ ብሎ ቆሎ መብላት ነው። መሪ የያዘችው ገደል አታይም፤ ማየት ካማራት መኪናዋን ታቁም። ሴት ስትነዳ አይተው መንገድ ዳር ቆመው የሚያጨበጭቡም የሚያማትቡም አሉ፤ ለሁለቱም እጅ ነሥቶ ማለፍ ነው።

ክረምት ሥራ የለም። ከሰኔ እስከ መስከረም መረሬው አፈር ጎማ ላይ ሊጥ ይሆናል። ከመስቀል በኋላ ግን ደጋው ገና አረንጓዴ ነው፣ አደይ አበባው አላለቀም፣ ወንዙ ጎድሏል፣ መንገዱ ጠንክሯል። የመንገዱም ሰላም ነገር አለ። በዚህ ዘመን ማንም ሰው ሳይጠይቅ ከቤቱ አይወጣም፤ እኛም በየቀበሌው ያሉ አባላትን ሳንጠይቅ አንነሣም፤ «ዛሬ ይቅርባችሁ» ካሉን ይቀራል፣ የእንግዳውም ገንዘብ ይመለሳል።

በመጨረሻ ከሁሉ የከበደውን ላንሣ። እህታችን ባለፈው፣ «መኪናዋ እንግዳ ይዛ ጉና ላይ እያለች ምጥ የያዛት ሴት ብትመጣስ?» ብላ ጠይቃለች። አሁን ወረዳዎቻችን አምቡላንስ አላቸው፣ እግዜር ይስጥልን፤ ግን አንድ አምቡላንስ ሁሉ ቦታ በአንድ ጊዜ አይደርስም፣ ቃሬዛውም ገና ከትከሻችን አልወረደም። ምጥ ሲረዝምና መንገድ ሲጠፋ ምን እንደሚተርፍ ባሕር ዳር በ1997 ዓ.ም. የተከፈተው የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል ያስተኛቸውን ሴቶች የጠየቀ ያውቃል። ስለዚህ የሐሳባችን የመጀመሪያው አንቀጽ እንዲህ ይላል፤ እንግዳው ከመሳፈሩ በፊት ይነገረዋል፣ ይስማማል፣ ይፈርማል፤ መንገድ ላይ ወላድ ወይም ሕመምተኛ ከተገኘ እንግዳው ወርዶ በአቅራቢያው ባለው አባላችን ቤት ቡና እየጠጣ ይጠብቃል፣ መኪናዋ ሐኪም ቤት ደርሳ ትመለሳለች። ይህን የማይቀበል እንግዳ አይመዝገብ። ብትሸጥ ይህንንም አብረን ነው የምንሸጠው፤ የብድሩ ገንዘብ በአንድ ዓመት ዞሮ ሊያልቅ ይችላል።

ከመሸጥ ወገን ያላችሁ እህቶች የምትሉት እንደ ቀልድ የሚታይ አይደለም። ናፍጣ ተወዷል፣ በየጊዜውም ወረፋ አለው። ስለዚህ የምንጠይቀው አንድ በጋ ብቻ ነው። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ እንሞክረው፤ እያንዳንዱ ጉዞ የፈጀውና ያስገባው በተለየ መዝገብ ይያዝ፣ መዝገቡንም የምትይዘው ከመሸጥ ወገን ያለች እህት ትሁን። በግንቦት ጉባኤ ላይ ይነበብ። ወጪዋን ካልሸፈነች እኔ ራሴ ደላላ እፈልግላታለሁ።

ለደጋፊዎቻችን ያለን ጥያቄ አጭር ነው፤ የፍሬን ሸራ፣ ሁለት ጎማና አንድ እውነተኛ ስኮርታ። ምግቡ፣ ማረፊያው፣ ቡናው፣ ስፌቱ ከእኛ ነው። የመጀመሪያው ጉዞ ስም ዝርዝር በጸሐፊያችን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ሰባት ቦታ አለው፣ አንዱን ያ «ማን ይከፍላል» ያሉት እናት በነፃ እንዲይዙት ይዤላቸዋለሁ። ጋቢ ይዛችሁ ኑ። በሶውን እኔ አመጣለሁ።