ግራኞች ለምን ካቸር አይሆኑም?



መጽሐፈ መሳፍንት በ20ኛው ምዕራፍ ከብንያም ወገን ስለነበሩ 700 ግራኞች ይተርካል፤ በወንጭፍ ሲወረውሩ ፀጉር እንኳ አይስቱም ነበር። በግራ እጅ አነጣጥሮ መወርወር እንደሚቻል ተጨማሪ ማስረጃ የሚያሻው ሰው ያለ አይመስለኝም። ቤዝቦልም ይህን አይክድም፤ ከሰው ልጅ ግራኙ ከ10 አንድ ያህል ሆኖ ሳለ በአሜሪካ ከፍተኛ ሊግ ከወርዋሪዎቹ ሩቡ ያህል ግራኞች ናቸው። በዚያው ሜዳ ግን ግራኝ የማይታይበት አንድ ቦታ አለ። እሱም ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ፣ ፊቱን በጭምብል ሸፍኖ ኳስ የሚቀበለው የካቸሩ ቦታ ነው። ሕጉ የካቸሩ ጓንት ዙሪያ ከ38 ኢንች እንዳይበልጥ ይደነግጋል እንጂ ጓንቱ በየትኛው እጅ እንደሚጠለቅ አይወስንም። ይህን ያልተጻፈ ክልከላ ያመጣው የአሠልጣኞች ልማድ ነው እላለሁ፤ ጨዋታው ራሱ አያስገድደውም።

የክልከላው ደጋፊዎች አስቀድመው የሚያነሡት ቤዝ ስርቆትን ነው። አንደኛ ቤዝ ላይ ያለ ሯጭ ወደ ሁለተኛው ሲፈተለክ ካቸሩ ኳሱን ተቀብሎ፣ ከተቀመጠበት ተነሥቶ፣ በቤዝቦል 39 ሜትር፣ በሶፍትቦል 26 ሜትር ያህል ወርውሮ ሊቀድመው ይገባል። በቀኝ የሚመታ ተጫዋች ከካቸሩ በስተግራ ስለሚቆም የግራኙን ክንድ ያግዳል ይላሉ። መቺዎች በአብዛኛው ቀኞች መሆናቸው እውነት ነው። ነገር ግን በግራ የሚመታውም በተራው የቀኙን ካቸር ክንድ ያግዳል፤ በከፍተኛው ሊግ ከመቺ ተራዎች ከሦስት አንዱ በላይ የሚሆነው ከዚያ ወገን ነው። ቀኝ ካቸሮች ችግሩን እግራቸውን አስተካክለው ሲያልፉት ኖረዋል፤ በዚህ ሰበብ ከቦታቸው ይነሡ ያለ ግን የለም። በሴቶች ሶፍትቦልማ ፈጣን ሯጮች ሆን ተብሎ በግራ እንዲመቱ ይሠለጥናሉ፤ ለአንደኛ ቤዝ ስለሚቀርቡ ኳሱን እየሮጡ ነካ አድርገው ይፈተለካሉ። እንዲህ ያለችው መቺ ስትቆም ክንዷ ነፃ የሚሆነው የግራኟ ካቸር ነው። ከዚህ የጠነከረው ተቃውሞ የኳሱን ጉዞ ይመለከታል፤ የግራኝ ውርወራ ወደ ግራ ስለሚያዘነብል ከሚመጣው ሯጭ ይሸሻል፣ የቀኙ ግን ወደ ሯጩ ይጠጋል። ይህን አልክድም። ሆኖም ኳሱን የሚያዘነብለው በጎን መሽከርከሩ ነው። ጣቶቹን በስፌቱ ላይ አጋድሞ፣ ክንዱን ከላይ ወደ ታች የሚያወርድ ካቸር ኳሱን ቀጥ አድርጎ ይልካል፤ ቀኞቹም የሚለማመዱት ይህንኑ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ስለ ሦስተኛ ቤዝ ነው፤ ቤዙ ከካቸሩ በስተግራ ስለሆነ ግራኙ ወደዚያ ለመወርወር ሰውነቱን ማዞር ግድ ይለዋል። ከሦስተኛ ቤዝ ካቸሩ ወደሚጠብቀው መጨረሻ ሰሌዳ የሚሮጠውንም በጓንቱ ለመንካት በቀኝ እጁ ተሻግሮ መድረስ አለበት። እነዚህ እውነተኛ ጉድለቶች ናቸው፤ አሳንሶ መናገርም አይገባም። ነገር ግን ሚዛኑ ሁለት ሳህን አለው። አንደኛ ቤዝ በስተቀኝ ስለሆነ፣ ቀኙ ካቸር ዞሮ የሚወረውርበትን ግራኙ ሳይዞር ይወረውርበታል፤ ቤዙን ለቅቆ የተዘናጋን ሯጭ ለመቅጣት ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በሦስተኛው ቤዝ መስመር ዳር ቀስ ብሎ የተገፋ ኳስ አንሥቶ ወደ አንደኛ ለመላክም ግራኙ ይቀናዋል። ጉድለቱን ብቻ ቆጥሮ ጥቅሙን መተው ግን ፍርድ አይባልም።

ታሪክም ምስክር አለው፦ እ.ኤ.አ. ከ1884 እስከ 1900 የተጫወተውና አብዛኛውን ዘመኑን በፊላደልፊያ ያሳለፈው ጃክ ክሌመንትስ ግራኝ ነበር፤ በካቸርነት 1073 ጨዋታ ተሰልፏል። ከ1000 በላይ የደረሰ ሌላ ግራኝ የለም። ያኔ ጨዋታው ሌላ ነበር የሚል ይኖራል፤ ሌላስ ነበር፣ ግን ያ ዘመን ቤዝ ስርቆትና ቀስ ብሎ የሚገፋ ኳስ ከዛሬው ይልቅ የተዘወተሩበት ስለነበር ፈተናው ለካቸር ይከብድ ነበር እንጂ አይቀልም። ከዚያ በኋላ ዴል ሎንግ በ1958 ሁለት፣ ማይክ ስኳየርስ በ1980 ሁለት፣ ቤኒ ዲስቴፋኖ በ1989 ሦስት ጨዋታ ላይ ካቸር ሆነዋል። ሦስቱም በዋናነት የአንደኛ ቤዝ ተጫዋቾች ነበሩ። በሰባት ጨዋታ ማንም ሊመዘን አይችልም፤ ግራኞች ተሞክረው ወደቁ የሚለው ወሬም መሠረት የለውም፣ ከክሌመንትስ በኋላ በቅጡ አልተሞከሩምና።

ታዲያ ለምን ጠፉ? የቤዝቦል ቁጥር ተንታኙ ቢል ጄምስ የሰጠው መልስ አሳማኝ ነው፦ ካቸር ብርቱ ክንድ ይፈልጋል፤ ብርቱ ክንድ ያለው ግራኝ ልጅ ሲገኝ ደግሞ አሠልጣኙ ወዲያው ወርዋሪ ያደርገዋል። ይህ ለቡድኑ ብልህነት ሊሆን ይችላል። ግን ግራኝ ወርዋሪን ስለመፈለግ እንጂ ግራኝ ካቸር መሆን ስላለመቻሉ የሚነግረን ነገር የለም። ልጁ ካቸር ሆኖ ስለማይታይ ለቀኝ እጅ የሚሆን የካቸር ጓንት ከመደርደሪያ ይጠፋል፤ ጓንቱ ስለጠፋም ልጁ አይሞክርም።

በአሜሪካ ልጆቻችሁን ወደ ቤዝቦልና ሶፍትቦል ሜዳ የምትወስዱ ወላጆች፣ እናንተም አሠልጣኞች፤ ግራኝ ልጅ ካቸር ልሁን ሲላችሁ ጓንቱን ፈልጋችሁ ስጡት። ከተቀበለበት ቅጽበት አንሥቶ ኳሱ ሁለተኛ ቤዝ እስኪደርስ ያለውን ጊዜ በሰዓት ለኩ፤ የቀኙንም ለኩ። ቦታውን ለፈጠነው ስጡ።